የደፋር ሰው ታሪክ ስታነቡ ገጽ አትዝለሉ

ልጆቼ፣

ወጣቶች ሲያገኙኝ አንድ ጥያቄ አይቀርም። «ጋሼ፣ ሪስክ ካልወሰድን በምን እንለወጣለን?» ይሉኛል። አንዱ ሥራውን ጥሎ ሊወጣ ነው። ሌላው ያለውን ሸጦ ሊሰደድ ቆርጧል። ስልካቸው ላይ የሚያዩት ቪዲዮ ሁሉ «አትፍራ፣ ግባበት» የሚል ነው።

ድፍረትን አልጠላም። ዕድሜዬን በአውሮፕላን ጥገና ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ትርፍ ሰዓቴን የፈጀሁት ደግሞ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ደፋሮችን የሕይወት ታሪክ በማንበብ ነው። በባሉን፣ ማለትም ሰው ይዞ በሚወጣ በጋዝ በተሞላ ትልቅ ፊኛ፣ ደመና ጥሰው የወጡ አሉ። ከባርነት ያመለጡ አሉ። አንብቧቸው። ብዙ አንባቢ ግን ያመለጡባትን ሌሊት ፍለጋ ገጽ ይዘላል። ቁም ነገሩ ያለው እሱ በሚዘለው ገጽ ላይ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ከሮበርት ስሞልስ ልጀምር። በ1862 የአሜሪካ ሰሜንና ባርነትን የያዘው ደቡብ እርስ በርስ እየተዋጉ ነው። ስሞልስ የ23 ዓመት ወጣት ነው፣ በባርነት ተይዟል። ቻርለስተን ወደብ ላይ ፕላንተር የምትባል የደቡብ ጦር መርከብ መሪ ይይዛል። ሜይ 12 ማታ ነጮቹ መኮንኖች ለማደር ወደ ከተማ ወጡ። ሊነጋጋ ሲል ስሞልስና ጓደኞቹ መርከቧን አስነሥተው ሄዱ። መንገድ ላይ ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን ጫኑ። ስሞልስ የካፒቴኑን የሣር ባርኔጣ ደፋ፣ እንደ ካፒቴኑ ቆመ፣ በምሽጎቹ ፊት አለፈ። ፎርት ሰምተር ሲደርስ ትክክለኛውን የፊሽካ ምልክት ሰጠ። ጠባቂዎቹም አሳለፉት። ከመድፍ ክልል ሲወጡ ነጭ አንሶላ ሰቅለው መርከቧን ለሰሜኑ ባሕር ኃይል አስረከቡ።

ፊልም ነው! ግን ያንን የፊሽካ ምልክት ከየት አመጣው? ወደቡን ሲመላለስበት ኖሯል። የውሃውን ጥልቀት ያውቃል፣ ፈንጂ የት እንደተጠመደ ያውቃል። እንደ ዕቃ የሚያዩት ሰዎች እያየ የሚማር ሰው መሆኑን አልጠረጠሩም። ቢያዙ መርከቧን ሊያሰምጧት ተስማምተው ነበር። ስለዚህ አደጋው ጠፍቷቸው አይደለም የገቡበት።

የኤለንና የዊልያም ክራፍት ታሪክ ደግሞ ለእናንተ ዕድሜ በጣም ይስማማል። በጆርጂያ ክፍለ ግዛት፣ ሜከን ከተማ በባርነት የሚኖሩ ባልና ሚስት ናቸው። ኤለን በጣም ቀይ ስለሆነች ነጭ ትመስላለች። በዲሴምበር 1848 እሷ የታመመ ሀብታም ነጭ ወጣት፣ ዊልያም ደግሞ የዚያ ወጣት አገልጋይ መስለው በባቡርና በመርከብ ወደ ሰሜን ተጓዙ። በአራት ቀን ውስጥ፣ በፈረንጆች ገና ዕለት፣ ፊላደልፊያ ገቡ። ራሳቸው እንደጻፉት ሐሳቡ ከመጣላቸው በስምንት ቀን ነፃ ወጡ።

ስምንት ቀን ሲባል የዛሬ ወጣት «አየህ! ማሰብ አያስፈልግም» ይለኛል። እስቲ ረጋ ብላችሁ ተመልከቱት። ኤለን ልብስ ሰፊ ነበረች፣ ሱሪውን የሰፋችው ራሷ ናት። ዊልያም አናጢ ነበር፣ በትርፍ ሰዓቱ እየሠራ ገንዘብ አጠራቅሟል። የቀረውን ልብስ ሲገዛም ሰው እንዳይጠረጥር ከተለያየ ሱቅ፣ በተለያየ ሰዓት ነው የገዛው። ኤለን መጻፍ አትችልም፣ ሆቴል ደግሞ ፈርሙ ይላል። ስለዚህ ቀኝ እጇን ታመመ ብላ በጨርቅ አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው። ጢም የሌለውን ፊቷን በፋሻ ሸፈነች። ባቡር ላይ አጠገቧ የተቀመጠው ሰው የጌታዋ ወዳጅ ሆኖ ቢገኝ፣ ወሬ ሲጀምራት ደንቆሮ መሰለች። ዕቅዱ የስምንት ቀን ነው። መርፌውና መጋዙ ግን የዓመታት ነው።

ወደ ባሉኖቹ ልምጣ፣ ይኼኛው የእኔ ሙያ ጎረቤት ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልናገር። እነዚህን ሁሉ «ደፋሮች» ብሎ በአንድ መደርደሪያ ላይ መደርደር ትንሽ ይከነክነኛል። ባሉን ላይ የወጣው ሰው ቤቱ መቅረት ይችል ነበር። ኤለን የምትቀርበት ቤት የላትም፣ ቤቱም እሷም የሌላ ሰው ንብረት ናቸው።

በኤፕሪል 1875 ጋስቶን ቲሳንዲዬ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ዜኒት በተባለ ባሉን ከፓሪስ ተነሣ። ከ8,000 ሜትር በላይ ወጡ። ኦክስጅን ይዘዋል። ሊጠቀሙበት ሲሉ ግን እጃቸው አልታዘዝ አለ። ቲሳንዲዬ ሲነቃ ሁለቱም ጓደኞቹ ሞተዋል። እሱም መስማት ተሳነው። ያስደነገጠኝ የጻፈው ነገር ነው። እዚያ ከፍታ ላይ ምንም ሥቃይ አልተሰማኝም፣ እንዲያውም ውስጤን ደስ አለው ይላል።

በሥራዬ ዘመን የኦክስጅን ጠርሙስና ጭምብል ስፈትሽ ኖሬያለሁ። «መጀመሪያ የራስዎን ጭምብል ያጥልቁ» የሚባለው ለወግ አይደለም። አየር ሲሳሳ ሰው መድከሙን አያውቅም። ጎበዝ የሆነ ይመስለዋል። ስለዚህ አንድ ነገር ውስጥ ስትገቡ «ምንም አልፈራሁም፣ ደስ ብሎኛል» ማለታችሁ ለእኔ ማስረጃ አይሆነኝም። መሣሪያው ምን ይላል?

ጄምስ ግሌሸር ይህ ገብቶታል። በሴፕቴምበር 1862 ከሄንሪ ኮክስዌል ጋር እንግሊዝ ውስጥ ከዎልቨርሃምፕተን ሲነሣ 53 ዓመቱ ነው፣ የአየር ጠባይ ተመራማሪ ነው። ላይ ሲደርሱ ራሱን ሳተ። ኮክስዌል እጁ በብርድ ደርቆ የጋዙን ማስተንፈሻ ገመድ በጥርሱ ጎትቶ ነው ባሉኑን ያወረደው። ሰው ሁሉ ያንን ጥርስ ያስታውሳል። እኔ የምወደው ግሌሸር እንደነቃ እርሳሱን አንሥቶ የመሣሪያዎቹን ንባብ መመዝገብ መቀጠሉን ነው።

አሁን ለሶሻል ሚዲያ ትውልድ የሚሆን ታሪክ። ሄንሪ ብራውን ሚስቱና ልጆቹ ከተሸጡበት በኋላ፣ በማርች 1849 በእንጨት ሣጥን ታሽጎ ከሪችመንድ ወደ ፊላደልፊያ እንደ ዕቃ ተላከ። 27 ሰዓት ያህል፣ ከፊሉን በጭንቅላቱ ተዘቅዝቆ። ነፃ ወጣ፣ ታሪኩም ወዲያው ታትሞ ዝነኛ ሆነ። ሣጥኑን የላከለት ጫማ ሠሪው ሳሙኤል ስሚዝ ግን ሌሎችንም በዚያው መንገድ ሊልክ ሲል ተይዞ እስር ቤት ገባ። ራሱም በባርነት የነበረው ፍሬድሪክ ዳግላስ በ1838 ያመለጠበትን መንገድ በ1845 ባሳተመው ታሪኩ ውስጥ አልነገረም። የተናገረው ባርነት ከቀረ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የብራውን ዘዴ ባይወራ ኖሮ ስንቱ በሣጥን ባመለጠ ነበር ብሎም በጽሑፍ ተቆጭቷል። ለብራውን አዝንለታለሁ፣ አልፈርድበትም። ከሁለቱ ግን እኔ የዳግላስን ዝምታ እመርጣለሁ።

ከእኛ አገርም አለ። ኦኔሲሞስ ነሲብ ልጅ ሆኖ ተሰርቆ፣ ከነጋዴ ነጋዴ ተሸጦ፣ በ1870 ምፅዋ ላይ ነፃ ወጣ። በእሱ ታሪክ ውስጥ የሣር ባርኔጣ የለም፣ በጥርስ የሚጎተት ገመድም የለም። እንደ እሱ ከባርነት ነፃ ከወጣችው ከአስቴር ጋኖ ጋር ለዓመታት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሰ። በ1899 ታተመ። እሷ ደግሞ የሕዝቡን ተረትና ዘፈን ሰብስባ ጻፈች። ኦኔሲሞስ ወገኑ ዘንድ ለመመለስ ያደረገው የመጀመሪያ ሙከራ አልተሳካም፣ ወለጋ የደረሱት በ1904 ነው። ለእኔ ይሄም ድፍረት ነው። ቪዲዮ ግን አይወጣውም።

ከየት እንጀምር ካላችሁ፣ ከክራፍቶች ጀምሩ። በ1860 ለንደን ያሳተሙት ታሪካቸው አጭር ነው፣ ኢንተርኔት ላይም በነፃ ይገኛል። እንግሊዝኛው የድሮ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ሊከብዳችሁ ይችላል፣ አትተዉት። እርሳስ ይዛችሁ አንብቡ። ሥራ ለመልቀቅ ያሰባችሁት ደግሞ አንብባችሁ ስትጨርሱ ጻፉልኝ። ምን መስፋት እንደምትችሉ ንገሩኝና ስለ ቀሪው እንነጋገራለን።