ፉኮን ለምታነቡ ልጆች

ውድ ልጆች፣

አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የምትማሩ የአበሻ ልጆች አንድ ጥያቄ ደጋግማችሁ ታመጡልኛላችሁ። ስለ ዘር፣ ስለ ጾታና ስለ ፍትሕ ክፍል ውስጥ የምትሰሙት ነገር ሥሩ የፈረንሳይ ድኅረ ዘመናዊ ፍልስፍና ነው ይባላል፤ ለሁሉ የሚሆን አንድ እውነት አለ መባሉን የሚጠራጠረው አስተሳሰብ ማለት ነው። አንዳንዱ አስተማሪ ይህን በኩራት ይነግራችኋል፤ ዩቲዩብ ላይ ያለው ሰው ደግሞ በቁጣ። እናንተም «እውነት የሚባል ነገር ከሌለ ፍትሕ ከየት ይመጣል?» ትላላችሁ። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በጥገኝነት ጉዳይ ጠበቃነት ነው። የምመልስላችሁም ከዚያው ሥራ ተነስቼ ነው።

መጀመሪያ ነገር፣ ፉኮን አትፍሩት። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሚሼል ፉኮ በ1975 (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ስለ እስር ቤት አመጣጥ ያሳተመው መጽሐፍ በአንድ ሰው ስቃይ ይጀምራል። ጊዜው 1757፣ ቦታው ፓሪስ ነው። ንጉሡን ሊገድል የሞከረ ሰው በአደባባይ አካሉ ተበጣጥሶ ይገደላል። ፉኮ ወዲያው ከዚያ ሰማንያ ዓመት ገደማ በኋላ የወጣ የእስር ቤት የሰዓት ሰሌዳ ያስከትላል፤ እስረኞቹ መቼ እንደሚነሱ፣ መቼ እንደሚጸልዩ፣ መቼ እንደሚሠሩ። እኛ ሁለቱን አይተን «ሰው ሠለጠነ፣ ርኅራኄ መጣ» እንላለን። ፉኮ ግን ሥልጣን መልኩን ቀየረ እንጂ አልቀነሰም ይላል። ወደ ትምህርት ቤቱ፣ ወደ ሆስፒታሉ፣ ወደ መዝገቡ ገባ። ማን ጤነኛ፣ ማን እብድ፣ ማን አደገኛ እንደሆነ የሚናገረው ዕውቀትም ከሥልጣን ተለይቶ አይቆምም።

ይህ ለእኔ የመጽሐፍ ወሬ ብቻ አይደለም። ደንበኞቼ በመንግሥት ዓይን ፋይል ናቸው። ቅጹ ያልጠየቀው መከራ ብዙ ጊዜ እንዳልደረሰ ይቆጠራል። ቅጹን ማን አዘጋጀው? ጥያቄዎቹን ማን መረጠ? ይህን መጠየቅ ከፉኮ ተማሩ።

ሌላው ፈረንሳዊ ፈላስፋ ሊዮታር በ1979 ለካናዳዋ ኩቤክ የዩኒቨርሲቲዎች ምክር ቤት በጻፈው ዘገባ፣ ታሪክን ሁሉ በአንድ ታላቅ ትርክት የሚጠቀልል ነገርን አለማመን የዘመኑ ጠባይ ነው አለ። የአገሩ ልጅ ፈላስፋው ዴሪዳ ደግሞ አንድ ጽሑፍ ገፍቶ ያስወጣውን ነገር እየፈለጉ ማንበብን አስተማረ። ሐሳቦቹ በ1970ዎቹ ወደ አሜሪካ የሥነ ጽሑፍ ክፍሎች፣ ቀጥሎም ወደ ሕግ ትምህርት ቤቶች ገቡ። ለእኔ ነገሩ የሚጥመው ከዚህ በኋላ ነው።

በ1976 ሚዙሪ ውስጥ አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት አምስት ጥቁር ሴቶች በጄኔራል ሞተርስ ላይ ያቀረቡትን ክስ አየ። በችሎቱ በቀረበው ማስረጃ መሠረት ኩባንያው ከ1964 በፊት ጥቁር ሴት አልቀጠረም። ከ1970 በኋላ የተቀጠሩት ጥቁር ሴቶች ደግሞ ኢኮኖሚው ሲቀዘቅዝ፣ «መጨረሻ የገባ መጀመሪያ ይውጣ» በሚለው አሠራር ሁሉም ተቀነሱ። ፍርድ ቤቱ ምን አለ? ሴቶች ተቀጥረዋልና የጾታ አድልዎ የለም። የዘሩ ጉዳይ ጥቁሮች ካቀረቡት ሌላ ክስ ጋር ይታይ። ሁለቱን ደርቦ መክሰስ ግን አይቻልም። ተቀጠሩ የተባሉት ሴቶች ነጮች ነበሩ። የሕግ ምሁሯ ኪምበርሌ ክሬንሾው በ1989 ይህን ውሳኔ አንስታ፣ ዘርና ጾታ በሚገናኙበት መስቀለኛ መንገድ ላይ የተገጨን ሰው ሕጉ አያየውም ብላ ጻፈች።

ክሬንሾው በ1991 ባወጣችው ጽሑፍ፣ ሐሳቧ የጊዜውን ፖለቲካ ከድኅረ ዘመናዊ ንድፈ ሐሳብ ጋር የሚያገናኝ ጊዜያዊ ፅንሰ ሐሳብ እንደሆነ ገልጻለች። ስለዚህ ዝምድናው አለ። ግን በዚያው ጽሑፍ፣ ዘር ማኅበረሰብ የፈጠረው ነው ማለት ዘር በዓለማችን ትርጉም የለውም ማለት እንዳልሆነ አስጠንቅቃለች። ደግሞ ጥቁር ሴቶች ይህን ለማወቅ ፈረንሳይን አልጠበቁም። የኮምባሂ ሪቨር ስብስብ የሚባለው የአሜሪካ ጥቁር ሴቶች ቡድን አባላት በ1977 ባወጡት መግለጫ ጭቆናዎች እንደሚደራረቡ ከራሳቸው ሕይወት ተነስተው ተናግረዋል። ሁሉም ከፓሪስ መጣ የሚሉ ሰዎች እነዚህን ሴቶች ከታሪኩ እያወጧቸው ነው።

የማልስማማው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ሥልጣን ዕውቀትን ይቀርጻል ከሚለው ተነስቶ «እንግዲያው ሁሉም የራሱ እውነት አለው» የሚለው ላይ መድረስ። የአገር ቤትን ዜና የምትከታተሉ፣ ትርክት በትርክት ሲመታ ምን እንደሚከተል አይታችኋል። ሁሉም የራሱ እውነት ካለው የሚያሸንፈው ጉልበት ያለው ነው። ጉልበት የሌለው ሰው የሆነውን ነገር ከማሳየት በቀር በእጁ ምን አለው?

የአሜሪካ የጥገኝነት ሕግ፣ አመልካቹ ሌላ ማስረጃ ባይኖረውም በራሱ ቃል ብቻ ሊያሸንፍ እንደሚችል ይፈቅዳል። ቃሉ ግን የሚታመን፣ የሚያሳምንና ዝርዝር ፍሬ ነገር የያዘ መሆን አለበት። ሕጉ ሲሠራበት ጉድለት ሞልቶታል፤ ይህን ሚዛኑን ግን እወደዋለሁ። የተጎዳው ሰው ይደመጣል፣ ቃሉም ይመዘናል። ደንበኛዬን ጠበቅ አድርጌ የምጠይቀው ስለማከብረው ነው።

ሙሉጌታ ሥራው የሚባለውን ሰው አስታውሱ። በኖቬምበር 1988 ፖርትላንድ፣ ኦሪገን ውስጥ ነጭ ዘረኛ ወጣቶች በቤዝቦል ዱላ የገደሉት ኢትዮጵያዊ ነው። ጥፋተኞቹ ታሰሩ። ቤተሰቡን የወከሉት ጠበቆች ግን እዚያ አላቆሙም። ካሊፎርኒያ ተቀምጦ እንዲህ ያሉ ወጣቶችን ያደራጅ የነበረውን ቶም ሜዝገርን ከነድርጅቱ ከሰሱ። ከዱላው ጀርባ ማን አለ ብሎ መጠየቅ ፉኮን ያነበበ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ነው። ተከሳሾቹ የተረቱት ግን በደብዳቤና በምስክር ቃል ነው። በ1990 ከሕዝብ የተመረጡት ዳኞች (ጁሪው) 12.5 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ፈረዱ።

ፉኮ ራሱስ ምን አደረገ? በ1971 ከባልደረቦቹ ጋር ስለ እስር ቤቶች መረጃ የሚሰበስብ ቡድን አቋቋመ። በቤተሰብ በኩል መጠይቅ ወደ እስረኞች አስገቡ፤ ስለ ጉብኝቱ፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ሕክምናው። መልሱን አሳተሙ። እስረኛው ራሱ ይናገር፣ የሆነውም ይታወቅ ነው ነገሩ። ዴሪዳም በ1989 ኒው ዮርክ ካርዶዞ የሕግ ትምህርት ቤት ቀርቦ፣ ሕግ እሱ ባስተማረው አነባበብ ተፈትቶ ሊበተን ይችላል፣ ፍትሕ ራሱ ግን፣ አለ ከተባለ፣ አይበተንም ብሏል። እነዚህን ሁለቱን ጠቅሶ «እውነትም ፍትሕም የለም» የሚላችሁ ሰው በደንብ አላነበባቸውም።

እናንተ ከክሬንሾው የ1989 ጽሑፍ ጀምሩ። ቀጥሎ የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ራሱን ፈልጋችሁ አንብቡ። ከዚያ ፉኮ ይምጣ። አሜሪካዊቷ ፈላስፋ ናንሲ ፍሬዘር በ1981 ያነሳችበትን ጥያቄ ግን አትዝለሉ፦ ሥልጣን በየቦታው ካለ አንዱን ከሌላው የከፋ የሚያደርገው ምንድን ነው? ለምንስ እንታገለዋለን? እኔ ከፉኮ መጻሕፍት ውስጥ የሚያጠግብ መልስ አላገኘሁም። ያገኛችሁ ካላችሁ ገጹን ጠቅሳችሁ ጻፉልኝ።