የከባድ መኪና ሹፌርነት ያዋጣል ወይ? ከጋቢና ውስጥ የተጻፈ መልስ

ወንድሜ፣ ትናንት የለጠፍከውን ጥያቄ አነበብኩት። «28 ዓመቴ ነው። ባለትዳር ነኝ፣ የ2 ዓመት ልጅ አለችኝ። የቢሮ ሥራ ሰልችቶኛል። የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ አውጥቼ ልግባበት ወይስ ይቅርብኝ? ባለቤቴ አልተስማማችም» ነው ያልከው። ከሥር የተሰጡህን መልሶችም አየሁ። ግማሹ «ወርቅ ነው፣ ዛሬውኑ ግባ» ይልሃል። ግማሹ «ዕድሜህን አትጨርስ» ይልሃል። ሁለቱም አልዋሹህም። የሠሩበት መስመርና የሠሩለት ሰው ይለያያል፣ ያ ነው።

እኔ 16 ዓመት ነድቻለሁ። በቅጥር ጀመርኩ። የራሴን መኪና ገዛሁ። አጣኋት። ተመልሼ ተቀጠርኩ። ይህን የምጽፍልህም ጋቢና ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። ለማራገፍ ተራ ይዣለሁ፣ ከፊቴ 9 መኪና አለ። ስለዚህ ይረዝማል፤ ቻለው።

ከውጭ ላየው ሰው ሥራው መንዳት ይመስላል። መንዳቱን ትለምደዋለህ። ከጥቂት ወራት በኋላ እጅና እግርህ ራሳቸው ያውቁታል። የማይለመደው መጠበቁ ነው። ለመጫን ትጠብቃለህ። ለማራገፍ ትጠብቃለህ። ሚዛን ላይ ትጠብቃለህ። የሚፈርምልህ ሰውዬ ስብሰባ ገብቷል ይሉሃል፣ እሱንም ትጠብቃለህ። ስለዚህ ሥራ ስትጠይቅ «ክፍያው ስንት ነው?» ብለህ አትጀምር። «ስጠብቅ ይከፈለኛል ወይ?» ብለህ ጀምር።

የረጅም መስመር ክፍያ በብዙ ቦታ በኪሎ ሜትር ወይም በቢያጆ፣ ማለትም በአንድ ጉዞ፣ ነው። ጎማ ሲዞር ገንዘብ ይቆጥራል፤ ጎማ ሲቆም ገንዘቡም ይቆማል። የመጀመሪያው ቀጣሪዬ የኪሎ ሜትሩን ዋጋ ሲነግረኝ ስልኬን አውጥቼ አባዛሁት። በቀን 700 ኪሎ ሜትር፣ በወር 25 ቀን። የወጣውን ቁጥር ሳይ ልቤ ዘለለች። ለእህቴ ሁሉ ደውዬ አወራሁ።

700 ኪሎ ሜትር የሚነዳበት ቀን ግን በወር 25 ጊዜ አይመጣም። አንድ ቀን ትነዳለህ፣ በማግስቱ በር ላይ ቆመህ ትውላለህ። በሦስተኛው ወር ደብተር ገዛሁና ሰዓቴን መጻፍ ጀመርኩ። የነዳሁበትን ለብቻ፣ የቆምኩበትን ለብቻ። ወሩ ሲያልቅ ደመርኩት። በሥራ ላይ ካሳለፍኩት ሰዓት ሲሶው ቆሜ የጠበቅኩበት ነበር። ክፍያውን ለጠቅላላው ሰዓት ሳካፍለው፣ ሹፌር ከመሆኔ በፊት መጋዘን ውስጥ ከማገኘው ብዙም አይርቅም። ያንን ለእህቴ አልደወልኩላትም።

የእኔ የግል ምሬት ብቻ እንዳይመስልህ። የአውሮፓ ኅብረት የሹፌሮች ሰዓት ደንብ፣ ቁጥር 561/2006 የሚባለው፣ ሹፌርን በሄደው ርቀት ልክ መክፈል የመንገድ ደህንነትን አደጋ ላይ የሚጥል ከሆነ ይከለክላል። ደንቡን ያወጡት ሰዎች እንዲህ ያለ ክፍያ ሹፌሩን ምን ያህል እንደሚያጣድፍ ገብቷቸዋል ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1938 የወጣው የፌዴራል የሠራተኛ ሕግ ብዙ የከባድ መኪና ሹፌሮችን ከትርፍ ሰዓት ክፍያ ውጪ አድርጓቸዋል። ለማስጠበቂያ የሚከፈል ገንዘብ አለ፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ መቁጠር የሚጀምረው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። እሱም ቢሆን ለድርጅቱ ተከፍሎ አንተ ጋ ላይደርስ ይችላል። በቃል «እንከፍላለን» ካሉህ እንዳልሰማህ ቁጠረው። ውሉ ላይ ይጻፍ።

በነገራችን ላይ፣ ዛሬ የምንጎትተው ኮንቴነር ራሱ የመጠበቅ ንዴት የወለደው ነገር ነው። ማልኮም ማክሊን የሚባል አሜሪካዊ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። እሱ ራሱ እንደሚያወራው፣ እ.ኤ.አ. በ1937 ወደብ ላይ የጫነው ጥጥ እስኪወርድ ቀኑን ሙሉ ቆመ። እሽጉን አንድ በአንድ ሲያነሱ እያየ፣ ተሳቢው ከነጭነቱ ብድግ ብሎ መርከብ ላይ ቢቀመጥ ብሎ አሰበ። እ.ኤ.አ. በ1956 አይዲያል ኤክስ የተባለችው መርከቡ 58 ኮንቴነር ጭና ከኒውአርክ ወደ ሂዩስተን ተጓዘች። መርከቡን ገላገለው። ሹፌሩ ግን ይኸው አሁንም በር ላይ ነው።

መጠበቅ ገንዘብ ብቻ ቢበላ ደግ ነበር። እንቅልፍም ይበላል። የአሜሪካን ደንብ ውሰድ። ከ10 ሰዓት ዕረፍት በኋላ ሥራ ስትጀምር 11 ሰዓት መንዳት ትችላለህ፤ ግን ሁሉም በ14 ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። ያ 14 ሰዓት በር ላይ ስትቆም አብሮህ አይቆምም። 6 ሰዓት ካስጠበቁህ የቀረህ 8 ነው፣ ቦታው ደግሞ 10 ሰዓት ይርቃል እንበል። መጣደፍ እዚያ ላይ ይጀምራል። የአውሮፓው ጠበቅ ያለ ነው። በቀን 9 ሰዓት መንዳት፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ 10፣ በየአራት ሰዓት ተኩሉ 45 ደቂቃ ዕረፍት። መኪናው ላይ ያለው መቅጃ ሁሉንም ይጽፋል። ጀማሪ ሳለሁ እንዲህ ዓይነት ቁጥጥር ያናድደኝ ነበር። አሁን ቁጥጥር የሌለበት ሥራ አልቀበልም። «ሕጉ አይፈቅድልኝም» ብለህ ለአለቃህ የምትመልሰው ነገር ሲኖርህ ትተርፋለህ።

እንዴት መሰለህ። በሁለተኛው ዓመቴ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ለመጫን ቆሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ጫንኩ። ነገ ጠዋት መድረስ አለበት ተባልኩ። እሺ አልኩ። እምቢ ማለት አይቻልም መስሎኝ ነበር። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ የቀኝ ጎማዎቼ ከአስፋልት ወጥተው ጠጠር ላይ ሲንጫጩ ባነንኩ። ዓይኔ ክፍት ነበር፣ ይሄን እምላለሁ። መልሼ አስገባኋት፣ ቆምኩ፣ ወርጄ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ምንም አልሆንኩም። ግን ከዚያ በፊት የነበሩትን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች እንዴት እንደመጣሁ እስከ ዛሬ አላስታውስም።

ሙሉ ጭነት የያዘ ከባድ መኪና በደረቅ መንገድ፣ በሰዓት 105 ኪሎ ሜትር እየሄደ ለመቆም ወደ 160 ሜትር ይፈልጋል። የቤት መኪና ወደ 96 ሜትር ይበቃታል። በዚያ ፍጥነት ለ4 ሰከንድ ብታንቀላፋ ከ110 ሜትር በላይ ታውረህ ሄደሃል። የምትነዳው ደግሞ አሜሪካ ከሆነ እስከ 36 ቶን፣ አውሮፓ ከሆነ በተለምዶ እስከ 40 ቶን ነው። ቁልቁለቱም እንዲሁ የጥድፊያ ነገር ነው። «ፍሬን በጠሰ» ሲባል ትሰማለህ አይደል? ብዙ ጊዜ የተበጠሰ ነገር የለም። ሰውየው ቸኩሎ በትልቅ ማርሽ ቁልቁለት ገባ፣ ፍሬን ላይ ተኝቶ ወረደ፣ የፍሬን ሸራው ግሎ መያዝ አቆመ። ማርሽ የሚቀነሰው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። መሃል ላይ ልቀንስ ብትል ማርሹ አልገባም ብሎህ ዜሮ ላይ፣ ማለትም ያለ ማርሽ፣ ልትቀር ትችላለህ። ይህን ያስተማሩኝ ሽማግሌ «ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይሉኝ ነበር። ለዛሬዎቹ ሞተሮች ያም አይበቃም፤ ሲወጡ ጉልበታሞች ስለሆኑ፣ ስትወርድ ከዚያም ዝቅ በል።

«የራሴን መኪና ብገዛስ?» ብለህ ልትጠይቅ እንደምትችል አውቃለሁ፣ ሁሉም ይጠይቃል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት አታስበው። እኔ በአራተኛው ዓመት በብድር ገዛሁ። ሁለት ዓመት ጥሩ ሠራሁ፣ እውነቴን ነው። ከዚያ ካምቢዮው ተሰበረ። በዚያው ሰሞን ትልቁ ደንበኛዬ ክፍያዬን ሦስት ወር አቆየብኝ። ደንበኛዬ አስጠበቀኝ፣ ባንኩ ግን አልጠበቀኝም። መኪናዋ ሄደች። ጥፋቱ የካምቢዮው አልነበረም። ለጥገና የተቀመጠ አንድ ሳንቲም አልነበረኝም፤ የገባውን ሁሉ ትርፍ ነው ብዬ በልቼዋለሁ። ከእነተሳቢዋ 18 ጎማ ያላት መኪና ይዘህ ጎማ እንደማያልቅ ሰው መኖር አይቻልም። «ለእኛ እየሠራህ ቀስ በቀስ መኪናዋን የራስህ ታደርጋለህ» የሚል ውል ይዞ የሚመጣ ድርጅት ካጋጠመህ ደግሞ ሥራ ሲጠፋ ለመኪናዋ የምከፍለው ይቆማል ወይ ብለህ ጠይቅ። አይቆምም። ሥራውን የሚሰጥህም የሚከለክልህም እሱ ራሱ ነው።

ስለ ጤና አጭር ላድርገው። እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካ ውስጥ በረጅም መስመር ሹፌሮች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ከ10 ሹፌር ሰባት ያህሉ ከልክ ያለፈ ውፍረት ነበረባቸው። ግማሽ ያህሉ ያጨሱ ነበር። መቀመጥና መጠበቅ እንዲህ ያደርጋል። ከጋቢና ዘለህ አትውረድ፤ ፊትህን ወደ መኪናው አዙረህ፣ ይዘህ፣ በደረጃው ውረድ። የእኔን ቁርጭምጭሚት ያበላሸው አደጋ አይደለም፣ በየቀኑ መዝለል ነው። ፀሐይም አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ የሕክምና መጽሔት ላይ የ69 ዓመት የጭነት ሹፌር ፎቶ ወጥቶ ነበር። 28 ዓመት ነድቷል። በመስኮቱ በኩል ያለው የፊቱ ግማሽ የሌላ ሽማግሌ ፊት ይመስላል። መስታወት ፀሐይን ሁሉ አያግድም።

ወደ ባለቤትህ ልምጣ። ያልተስማማችው በመኪናው አይመስለኝም፣ በሌሊቱ ነው። እኔ ረጅም መስመር ላይ ሳለሁ «ቅዳሜ እደርሳለሁ» ብዬ ሰኞ የምደርስበት ጊዜ ብዙ ነበር። መጀመሪያ ባለቤቴ ትቆጣ ነበር። ቆይታ መቆጣቱን ተወች። ከዚያ «መቼ ትመጣለህ?» ማለቱንም ተወችና «ጫንክ?» ብቻ ትለኝ ጀመር። ካልጫንኩ ቀን መቁጠር ዋጋ እንደሌለው ገብቷታል። ይህ ቃል ከስድብ በላይ አመመኝ። አሁን ጠዋት ወጥቼ ማታ የምገባበት መስመር ላይ ነኝ። ክፍያው ያንሳል፣ ግን በሰዓት ነው። ቆሜም ይቆጥራል።

ስለዚህ ለአንተ የምለው ይህ ነው። ግባበት፣ ግን ረጅም መስመር ላይ ልትኖርበት አትግባ። የመጀመሪያውን ዓመት ጥሩ አሠልጣኝ ያለበት ቦታ፣ ክፍያው ቢያንስም፣ ተማርበት። ለባለቤትህም «ከአንድ ዓመት በኋላ ማታ ማታ ቤት እገባለሁ» በላት፤ ቀኑን አብራችሁ ጻፉት። ከዚያ በሰዓት የሚከፈልበት የአጭር መስመር ሥራ ፈልግ። ቦቴ ደህና ይከፍላል ይሉሃል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ግማሽ የተሞላ ቦቴ ውስጥ ያለው ፈሳሽ አንተ ከቆምክ በኋላም ይገፋሃል። ኩርባ ላይ ደግሞ ወደ ጎን ይጎትትሃል። ለሁለተኛው ወይም ለሦስተኛው ዓመት አቆየው።

መኪናው ራሱን ይነዳል፣ ሹፌር ይቀራል የሚሉህን አትፍራቸው። እ.ኤ.አ. በ2025 ቴክሳስ ውስጥ ሾፌር የሌለው ከባድ መኪና በዳላስና በሂዩስተን መካከል ጭነት ማመላለስ ጀምሯል፣ ይሄ አይካድም። ቀጥ ያለውን አውራ ጎዳና ይወስደው ይሆናል። ጠባብ ግቢ ውስጥ በኋላ ማርሽ ገብቶ፣ ጭነቱን አስሮ፣ ከዘበኛው ጋር ተከራክሮ የሚወጣ ግን ገና አላየሁም። አሁንም ከአጭር መስመር ጋር ነኝ።

ለፈተናው፣ የሚቻል ከሆነ በማኑዋል ማርሽ ተፈተን፤ አንዳንድ አገር በአውቶማቲክ ከተፈተንክ መንጃ ፈቃድህ ላይ ገደብ ይጻፋል። የኋላ ማርሹን ደግሞ አጥብቀህ ተለማመድ። ተሳቢዋ መሪውን ካዞርክበት በተቃራኒ ነው የምትሄደው፣ ጭንቅላትህ እስኪቀበለው ይቸገራል። ግራ ከገባህ ቁም፣ ውረድ፣ ዞረህ እይ። ማንም አይስቅብህም። ቢስቅም ይሳቅ፣ ግንብ ከመምታት ይሻላል።

ከጥያቄህ ሥር ስለ ብድር የጠየቀው ሌላኛው ልጅ፣ አይቼሃለሁ፤ ማታ እመልስልሃለሁ። ከፊቴ የነበሩት ዘጠኙም ገቡ። 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ፣ ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። ዘበኛው በእጁ እየጠራኝ ነው።