ስሙ ሮም፣ ወደቡ ቺቪታቬኪያ፦ በሜዲትራኒያን የመርከብ ጉዞ ለጀማሪዎች፣ ጥያቄና መልስ

ለመጀመሪያ ጊዜ በመዝናኛ መርከብ የሜዲትራኒያን ወደቦችን ለመጎብኘት ያሰባችሁ ጥያቄዎቻችሁን እንድትልኩልኝ ጠይቄ ነበር፤ የደረሱኝም ከጠበቅሁት በላይ ናቸው። ከባርሴሎና እስከ ቱርኳ ኩሻዳሲ ባለው መስመር ስድስት ጊዜ ተጉዣለሁ፤ ሁለቱን የተጓዝኩት እናቴን ይዤ ነው። ተመሳሳይ የሆኑትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌ እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ (ከሚኒያፖሊስ)፦ የገዛነው ጉዞ ሮምን፣ ፍሎረንስንና ቬኒስን ይጨምራል ይላል። ከመርከቡ ወርደን ከተሞቹን በእግራችን ማየት እንችላለን?

አትችሉም፤ ብዙ ጀማሪ ተጓዥ ቀኑን የሚያጣው ይህን ባለማወቁ ስለሆነ ከሁሉ አስቀድሜ ላስረዳችሁ። መርከቡ «ሮም» ብሎ የሚቆመው ቺቪታቬኪያ በምትባል ወደብ ሲሆን ከሮም ወደ 80 ኪሎ ሜትር ይርቃል። «ፍሎረንስ» ሲል አብዛኛውን ጊዜ ሊቮርኖን ማለቱ ነው፤ ከዚያ ፍሎረንስ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ፒሳ ግን በባቡር ከ20 ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። የቬኒስ ደግሞ ይለያል። ከኦገስት 2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከ25,000 ቶን በላይ የሆኑ መርከቦች በቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ፊት ለፊት እንዳያልፉ ስለተከለከለ፣ ትልልቆቹ መርከቦች ወይ ማርጌራ በተባለው የኢንዱስትሪ ወደብ፣ ወይ ራቬናና ትሪየስቴ ድረስ ርቀው ይቆማሉ። ራቬና ከሆነ ቬኒስ ለመድረስ በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት በከተማው ስም ሳትረኩ የወደቡን ስም ጠይቁ።

በአንጻሩ ናፖሊ፣ የማልታዋ ቫሌታና የሞንቴኔግሮዋ ኮቶር መርከቡ ከከተማዋ እግር ሥር የሚቆምባቸው ወደቦች ናቸው፤ በእነዚህ ያለ አስጎብኚና ያለ መኪና መዋል ይቻላል። ለመጀመሪያ ጉዞ መስመር የምትመርጡ ከሆነ እንዲህ ያሉ ወደቦች የሚበዙበትን ብትመርጡ ደስ ይለኛል፤ በተለይ አረጋውያንና ሕፃናት አብረዋችሁ ካሉ።

ጥያቄ (ከአትላንታ)፦ እናቴ ሰዓት የምትቆጥረው በአገር ቤት አቆጣጠር ነው። የመርከቡን ሰዓት እንዴት ላስረዳት?

ይህን ስለጠየቁ አመሰግናለሁ፤ በእኛ ቤተሰብ የደረሰ ነገር ነውና። ናፖሊ ላይ የመመለሻው ሰዓት 15:30 ተብሎ ተለጥፎ ነበር። ታናሽ ወንድሜ በእንግሊዝኛው አስቦ «ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ እንመለሳለን» አላት፤ እሷም ማታ ሦስት ተኩል መስሏት ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ገብታ ተረጋግታ ስትጸልይ ፈልገን አገኘናት፤ መርከቡ ላይ የደረስነውም ደቂቃዎች ሲቀሩት ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየወደቡ በትንሽ ወረቀት ላይ «መመለሻ 15:30፣ በእኛ 9:30» ብዬ ከመርከቡና ከወደቡ ስም ጋር እጽፍላታለሁ፣ እሷም ከነጠላዋ ጫፍ ትቋጥረዋለች። ብትጠፋ እንኳ ወረቀቱን ለታክሲ ነጂ ማሳየት ትችላለች።

በተጨማሪም በእነሱ በጋ፣ በእኛ ክረምት ማለት ነው፣ ግሪክና ቱርክ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ሰዓት ሲኖራቸው ጣሊያን፣ ፈረንሳይና ስፔን አንድ ሰዓት ወደኋላ ይቀራሉ። መርከቡ የሚሄደው በራሱ ሰዓት ነው፤ ስልካችሁ በየአገሩ በራሱ ሊቀየር ስለሚችል አንድ የእጅ ሰዓት በመርከቡ ሰዓት ሞልታችሁ እሱን ብቻ እመኑ። እኔም ከዚህ በታች ሰዓት የምጠቅሰው በአገራችን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ (ከሎንዶን)፦ ብንዘገይ መርከቡ ይጠብቀናል?

ከመርከቡ በገዛችሁት ጉብኝት ላይ ሳላችሁ አውቶቡሱ ከዘገየ ይጠብቃል፤ ባይጠብቅም ወደሚቀጥለው ወደብ የማድረሱ ኃላፊነት የእነሱ ነው። በራሳችሁ ከወጣችሁ ግን አይጠብቅም፤ እስከሚቀጥለው ወደብ የሚያደርሳችሁን አውሮፕላን፣ ባቡርና ሆቴል የምትከፍሉት ራሳችሁ ናችሁ። የመሳፈሪያው በር የሚዘጋው ደግሞ መርከቡ ከመነሳቱ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ነው። የእኔ ልማድ ቅርብ በሆኑት ወደቦች በራሴ መውጣት፣ ሩቅ በሆኑት ግን፣ በተለይ ሰው ይዤ ስሄድ፣ የመርከቡን ጉብኝት መግዛት ነው። ውድ ቢሆንም የምትከፍሉት ለእርጋታ ነው።

ጥያቄ (ከሲያትል)፦ ግሪን ካርድ አለኝ፣ ፓስፖርቴ ግን የኢትዮጵያ ነው። ከአቴንስ ተነስቶ ኩሻዳሲ ደርሶ በሚመለስ መርከብ ልሳፈር ነው። ቪዛ ያስፈልገኛል?

ያስፈልግዎታል። ግሪን ካርድ ወደ አሜሪካ ያስመልስዎታል እንጂ የሸንገን አገሮችን፣ ማለትም በአንድ የጋራ ቪዛ የሚገባባቸውን የአውሮፓ አገሮች፣ በር አይከፍትም። ከዚህም በላይ ቪዛው ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ መሆን አለበት፤ ምክንያቱም መርከቡ ከግሪክ ወጥቶ ቱርክ ሲደርስ ከሸንገን ወጥተዋል፣ ወደ ግሪኳ ደሴት ሚኮኖስ ወይም ወደ አቴንስ ወደብ ፒሬየስ ሲመለስ ደግሞ እንደገና እየገቡ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ የያዘ ሰው በመሳፈሪያው ጠረጴዛ ላይ ይመለሳል፤ የከፈለውም ገንዘብ በአብዛኛው አይመለስለትም። ለቱርክ፣ ለሞንቴኔግሮ ወይም ለቱኒዚያ መግቢያ ደግሞ የየአገሩን ቆንስላ ለብቻው መጠየቅ ግድ ነው። ክሮኤሺያ ግን ከጃንዋሪ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሸንገን ውስጥ ስለሆነች ዱብሮቭኒክ ሌላ ቪዛ አይጠይቅም።

ማመልከቻው የሚቀርበው ረጅም ጊዜ ለሚቆዩበት አገር ሲሆን፣ የቀኖቹ ብዛት እኩል ከሆነ መጀመሪያ ለሚገቡበት አገር ነው። ክፍያው ለአዋቂ ሰው 90 ዩሮ ነው፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና መድን ይጠየቃል። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ነውና ቀጠሮ እስኪገኝ የሚባክነውን ጊዜ አስበው በጊዜ ይጀምሩ። ከኦክቶበር 12 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ ያልሆኑ ጎብኚዎች አሻራና ፎቶ የሚሰጡበት የድንበር አሠራር ደረጃ በደረጃ ሥራ ላይ መዋል ስለጀመረ፣ በአውሮፕላን በሚገቡበት ቀን መርከብ ለመሳፈር አይሞክሩ። አንድ ቀን ቀድመው ይድረሱ።

ጥያቄ (ከስቶክሆልም)፦ በራሳችን ወደ ሮም ብንሄድ በአንድ ቀን ምን ማየት እንችላለን?

ቀኑን ከመመለሻው ወደኋላ እንቁጠረው። መርከቡ ጠዋት 1 ሰዓት ቢቆምና በሩ ማታ 12 ሰዓት ተኩል የሚዘጋ ቢሆን፣ ከመርከቡ እስከ ወደቡ መውጫ በአውቶቡስ፣ ከዚያ ወደ ባቡር ጣቢያው፣ ከጣቢያው ደግሞ ወደ ሮም ሲባል መንገዱ ሁሉ ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። 2 ሰዓት ላይ ብትወጡ 4 ሰዓት ላይ ሮም ናችሁ፤ በ9 ሰዓት ባቡር ብትመለሱ አንድ ሰዓት ተኩል መጠባበቂያ ይኖራችኋል። ስለዚህ ሮም ለእናንተ አምስት ሰዓት ናት፤ በአምስት ሰዓት ውስጥ ኮሎሲየምንም የቫቲካን ሙዚየሞችንም ለማየት የሚሮጥ ሰው አንዱንም አያይም። አንዱን መርጣችሁ ትኬቱን ቀደም ብላችሁ ግዙ። የወረቀት የባቡር ትኬት ከመሳፈራችሁ በፊት በጣቢያው ማሽን ማኅተም ሊመታበት ይገባል፤ ይህን የማያውቅ እንግዳ ይቀጣል።

ቫቲካንን ከመረጣችሁ ሮማ ሳን ፒዬትሮ በተባለው ጣቢያ ውረዱ፤ ከዚያ የቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ለሩብ ሰዓት ያህል በእግር የሚያስኬድ መንገድ ነው። ትከሻና ጉልበት ሳይሸፈን ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ፣ ወደ ትልቁ ቤተ ክርስቲያን፣ አይገባምና ነጠላ የያዘች እናት እዚህ አትቸገርም። ከባዚሊካው ጀርባ የቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ ቤተ ክርስቲያንና የኢትዮጵያ ኮሌጅ ይገኛሉ፤ ግቢው ለመንገደኛ ክፍት ባይሆንም ከጥንት ጀምሮ የአገራችን መነኮሳት ማረፊያ እንደነበረ አውቆ ማለፍ ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር።

ኮሎሲየምን ከመረጣችሁ ደግሞ ጥቂት ተራምዳችሁ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ሕንፃ ፊት ለፊት ያለውን አደባባይ እዩት። የአክሱም ሐውልት እስኪነሳ ድረስ ለብዙ አሥርት ዓመታት የቆመው እዚያ ነበር፤ በ2005 እ.ኤ.አ. ወደ አገሩ ተመልሶ በ2008 አክሱም ላይ ዳግም ቆመ። አሁን የሚታይ ሐውልት የለም፤ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ቆማችሁ ታሪኩን ብትነግሯቸው ግን አይረሱትም። ተርሚኒ ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ»ም በ1887 እ.ኤ.አ. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ለወደቁት የጣሊያን ወታደሮች የተሰየመ ነው።

ጥያቄ (ከዱባይ)፦ ሳንቶሪኒ ለአረጋውያን ይሆናል?

በጥንቃቄ ይሆናል። መርከቡ መልህቁን ጥሎ ባሕሩ ላይ ስለሚቆም ወደ ታችኛው ወደብ የምትሄዱት በትንንሽ ጀልባ ነው፤ ከጀልባው ወደ መሬት ስትረግጡ መርከበኞቹ እጅ ይዘው ያሻግራሉ። ከዚያ ገደል አናት ላይ ወዳለችው ፊራ ለመውጣት በገመድ የሚሳብ ተሽከርካሪ፣ ወደ 600 የሚጠጋ ደረጃ፣ ወይም በቅሎ አለ። ደረጃው በበቅሎዎቹ እበት ስለሚያዳልጥ ለጉልበት ሕመምተኛ አይሆንም። በገመዱ ውጡ፤ ነገር ግን ብዙ መርከቦች በአንድ ቀን ከቆሙ ለመውረድ የሚጠብቀው ሰልፍ በፀሐይ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊያቆማችሁ ይችላልና ከመጨረሻው ጀልባ ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ መውረድ ጀምሩ። ከጁላይ 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግሪክ በመርከብ ለሚመጡ ጎብኚዎች ክፍያ ጥላለች፤ በሳንቶሪኒና በሚኮኖስ በዋናው ወቅት ለአንድ ሰው 20 ዩሮ ነው።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ጉዞው ፍልሰታ ላይ ይውላል። የጾም ምግብ ይገኛል?

ይገኛል፤ ግን ቀድሞ መናገር ይጠይቃል። ጉዞውን ስትይዙ «ቪጋን» ብላችሁ አስመዝግቡ፤ «የአትክልት» ብቻ ካላችሁ ቅቤ፣ እንቁላልና አይብ ይመጣል። በመጀመሪያው ምሽት የመመገቢያ አዳራሹን ኃላፊ አነጋግራችሁ ስጋም ወተትም ቅቤም እንደማትነኩ ብታስረዱ የሚቀጥለውን ቀን ምግብ ከማታው ያዘጋጁላችኋል።

በግሪክ ወደቦች ግን ከዚህ የተሻለ ነገር አለ። ግሪኮችም በነሐሴ የእመቤታችንን ጾም ስለሚጾሙ «ኒስቲሲሞ» የምትለዋን ቃል ብትናገሩ የምግብ ቤቱ አስተናጋጅ የጾም ምግብ ማለታችሁ እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። ጥንቃቄው፣ በእነሱ ሥርዓት ሽሪምፕና ካላማሪ የጾም ምግብ ናቸውና እነሱን እንደማትበሉ ጨምራችሁ ንገሩ። ሳንቶሪኒ ላይ «ፋቫ» የሚባለውን ጠይቁ፤ ከተፈጨ ቢጫ ክክ የሚሠራ፣ ላዩ ላይ የወይራ ዘይትና የተከተፈ ቀይ ሽንኩርት የሚደረግበት ነው። እናቴ የመጀመሪያውን ጉርሻ ቀምሳ «ይህማ የእኛ ክክ አልጫ ነው፣ እርዱ ብቻ ቀርቶበት» አለች።

ጥያቄ (ከቶሮንቶ)፦ ኪስ አውላቂዎች በዝተዋል ይባላል፤ እውነት ነው?

እውነት ነው። ባርሴሎና ላይ ላ ራምብላ፣ ናፖሊ ላይ ወደ ፖምፔ የሚሄደው ባቡር፣ አቴንስ ላይ ከፒሬየስ ወደ ሞናስቲራኪ የሚወስደው የከተማ ባቡር የታወቁ ቦታዎች ናቸው። ከኋላ የሚገፋችሁ ሰው ሲኖር ከፊት ሌላ እጅ አለ ብላችሁ ቦርሳችሁን በደረታችሁ በኩል ያዙ። ፓስፖርት እንድትይዙ ካልታዘዛችሁ በስተቀር ፓስፖርቱን በካቢኑ ካዝና አስቀምጣችሁ፣ ቅጂውን፣ የመርከቡን ካርድና ለዕለቱ የሚበቃ ገንዘብ ብቻ ይዛችሁ ውረዱ።

ጥያቄ (ከተለያዩ ሰዎች)፦ ባሕሩ ያናውጣል ወይ? የትኛው ወር ይሻላል?

ሜዲትራኒያን በአብዛኛው የረጋ ቢሆንም ከማርሴይ ፊት ለፊት ሚስትራል የተባለው ነፋስ፣ በጁላይና ኦገስት ደግሞ በግሪክ ደሴቶች መካከል ሜልቴሚ የሚባለው ይነሳል፤ ሜልቴሚ ሲበረታ ጀልባ ስለማይወርድ የሚኮኖስ ጉብኝት ሊቀር ይችላል። ለማቅለሽለሽ የምትሰጉ ሁሉ ከመርከቡ መካከል፣ ከታችኛው ደርብ ካቢን ምረጡ። እኔ ሜይንና የሴፕቴምበርን መጨረሻ እመርጣለሁ፤ በሙቀቱ ወራት አክሮፖሊስ እንኳ በቀትር የሚዘጋበት ቀን አለ።

ጥያቄ (ከናሽቪል)፦ ስልክና ጉርሻስ?

መርከቡ ከወደብ ሲርቅ ስልካችሁ በሳተላይት ከሚሠራው የመርከቡ ኔትወርክ ጋር ከተያያዘ ሂሳቡ እጅግ ከባድ ነውና ከመነሳታችሁ በፊት የአውሮፕላን ሁኔታ ላይ አድርጉት። ጉርሻ በብዙ መርከቦች ለእያንዳንዱ ሰው በየቀኑ ከሂሳባችሁ ላይ ይጨመራል፤ ከትኬቱ ዋጋ ጋር አስቀድማችሁ ደምሩት።

ጥያቄ (ከፍራንክፈርት)፦ በመጀመሪያው ቀን የሚደረገው የአደጋ ጊዜ ልምምድ ግዴታ ነው? ብንተወውስ?

ግዴታ ነው፤ እባካችሁ አትተዉት። በጃንዋሪ 13 ቀን 2012 እ.ኤ.አ. ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለው መርከብ ጂሊዮ ደሴት አጠገብ ዓለት ገጭቶ ሲገለበጥ 32 ሰዎች ሞቱ፤ በዚያው ቀን ቺቪታቬኪያ ላይ የተሳፈሩት መንገደኞች ልምምዱን ገና አላደረጉም ነበር። ልምምዱ ከመነሳት በፊት ወይም ወዲያው እንዲደረግ የተደነገገው ከዚያ በኋላ ነው። መሰብሰቢያ ቦታችሁን በካርታ ላይ አይታችሁ ብቻ ሳትተዉ፣ ከካቢናችሁ እስከዚያ ድረስ በደረጃው አንድ ጊዜ ሂዱበት፤ እናት ወይም አባት ከያዛችሁ አብራችሁ ሂዱ።

ጥያቄ (ከካልጋሪ)፦ በመጨረሻው ቀን ስንወርድ ምን እናድርግ?

ከመውረዳችሁ በፊት ባለው ሌሊት ሻንጣችሁን ከካቢኑ በር ውጭ ታስቀምጣላችሁ፣ ጠዋት ወደብ ላይ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ፓስፖርት፣ መድኃኒት፣ የስልክ ቻርጀር፣ የነገውን ልብስና ጫማ በእጅ ቦርሳ አስቀሩ። መልቀቂያው ብዙ ጊዜ ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሚካሄድና ከቺቪታቬኪያ እስከ ሮም አውሮፕላን ማረፊያ መንገዱ ረጅም ስለሆነ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት በፊት የሚነሳ አውሮፕላን አትያዙ።