በሁለቱም ዓምድ የሌለውን ህብረ ሕዋስ «ንጹሕ ነው» አትበዪ፦ የቤታ ሴል ክሬ ለጠየቀችው እህታችን

ሰላም እህቴ። የጠየቅሽው ይህን ነው፦ አንድ ጂን ኢንሱሊን ከሚያመነጨው የቆሽት ቤታ ሴል ብቻ ልታጠፊ ነው፤ ቤተ ሙከራችሁ ሪፕ-ክሬ የሚባለውን አይጥ ሊያዝ ነው፤ ኤምጂአይ (የአይጥ ጂኖች የመረጃ ቋት) ላይ ገብተሽ «የላንገርሃንስ ደሴት» (ቤታ ሴሎች ያሉበት የቆሽት ክፍል) ብለሽ ስትፈልጊ ክሬው እዚያ እንደሚሠራ አየሽ፤ «ይህ ይበቃል ወይ?» አልሽ። አይበቃም። ክሬው ደሴቱ ላይ መሥራቱ ማንንም አያከራክርም። የሚያከስርሽ ሌላ የት እንደሚሠራ ሳታጣሪ ማዳቀል መጀመርሽ ነው። ክሬና ሎክስፒን ስለምታውቂ ባጭሩ ብቻ ላንሳቸው፦ ክሬ በሁለት ሎክስፒ ምልክቶች መካከል ያለውን ዲኤንኤ ቆርጦ የሚያወጣ ኢንዛይም ነው፤ በሎክስፒ የታቀፈ ጂን ፍሎክስ ይባላል። አሁን ወደ አፈላለጉ እገባለሁ።

1. ፍለጋውን በህብረ ሕዋስ አትጀምሪ። በኤምጂአይ የሪኮምቢኔዝ (እንደ ክሬ ያሉ ዲኤንኤ ቆራጮች) ገጽ ላይ በሁለት መንገድ መፈለግ ይቻላል፦ ክሬውን በሚነዳው (የት እንደሚሠራ በሚወስነው) ጂን ወይም በአካል ክፍል። የአካል ክፍሉን ከሞላሽ እዚያ ክፍል ላይ የተመረመሩትን መስመሮች (የክሬ አይጥ ዘሮች) ይሰበስብልሻል፤ ዓይንሽም እሱ ላይ ተተክሎ ይቀራል። ይልቅ ነጂውን ጂን፣ ኢንስ1፣ ኢንስ2 (ሁለቱ የአይጥ የኢንሱሊን ጂኖች)፣ ፒዲኤክስ1 (የቆሽት ጂን) እያልሽ በየተራ ሙዪና የአካል ክፍሉን ተዪው። ያኔ እያንዳንዱ መስመር የተመረመረባቸውን የአካል ሥርዓቶች በሙሉ ታያለሽ።

2. የመስመሩን ሙሉ ስም ያዢ። «ሪፕ-ክሬ» ቅጽል ስም ነው፤ የራት ኢንሱሊን ፕሮሞተር (ጂኑን የሚያስነሳው የዲኤንኤ ክፍል) ለማለት። በዚህ ቅጽል ስም የሚጠሩ፣ በተለያዩ ቤተ ሙከራዎች የተሠሩ የተለያዩ አይጦች አሉ። ቲጂ(ኢንስ2-ክሬ)25ኤምጂኤን ስትዪ ቲጂ ማለት ትራንስጂን (ከውጭ የገባ ጂን) ነው፣ በቅንፉ ውስጥ ነጂውና ክሬው አሉ፣ 25 የመሥራቹ መስመር ቁጥር ነው፣ መጨረሻው የሠራው ቤተ ሙከራ ኮድ ነው። ትራንስጂን ክሮሞሶም ላይ የሚያርፈው በዘፈቀደ ስለሆነ፣ ፕሮሞተሩ አንድ ሆኖ ቁጥሩና ኮዱ ከተለየ የሚሠራበትም ቦታ ሊለይ ይችላል። ጽሑፎች ላይ «ሪፕ-ክሬ አይጥ ተጠቅመናል» ብለው የሚያልፉ ደራሲያን በእውነት ያሳዝኑኛል፤ አንባቢው የትኛውን አይጥ እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ አይተውለትም። ከጃክሰን ላቦራቶሪ ስታዝዢ የክምችት ቁጥሩን ከሙሉው ስም ጋር አስተያዪ። የ25ኤምጂኤን ቁጥር 003573 ነው።

3. «ተገኝቷል» እና «አልተገኘም» የሚሉትን ዓምዶች ለይተሽ አንብቢ። ገንዘብና ጊዜ የሚበላው ስህተት ያለው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚያየው «ተገኝቷል» የሚለውን ብቻ ነው። እዚያ ውስጥ አንጎል ከሌለ «አንጎል ላይ አይሠራም» ብሎ ይደመድማል። ኤምጂአይ ግን የሚመዘግበው አንድ ሰው መርምሮ ያሳተመውን ወይም ያስረከበውን መረጃ ነው። «አልተገኘም» ማለት ተፈልጎ ታጣ ማለት ነው። በሁለቱም ዓምድ የሌለ ህብረ ሕዋስ ግን ማንም ያላየው፣ ወይም ያየው ያልተመዘገበ ነው። የቤታ ሴል ተመራማሪ ቆሽትን ይቆርጣል፤ ጭንቅላት ከፍቶ ሃይፖታላመስ (የምግብ ፍላጎትን የሚቆጣጠረውን የአንጎል ክፍል) የሚያይ ስንት ነው? ለዚህ ነው የኢንሱሊን ፕሮሞተር ያላቸው የቆዩ መስመሮች አንጎል ላይ መሥራታቸው ብዙ ሰው ከተጠቀመባቸው በኋላ ጎልቶ የወጣው። በ2010 የታተመ አንድ ጥናት የቤታ ሴል ክሬ መስመሮችን አንጎል ላይ እየፈተሸ፣ ከኢንስ2 አልፎ በፒዲኤክስ1 የሚነዱትም ሃይፖታላመስን ጨምሮ እንደሚሠሩ አሳይቷል። የአንቺ ጂን የምግብ ፍላጎትን ወይም ክብደትን የሚነካ ከሆነ፣ ውጤትሽ ከቆሽት ይምጣ ከአንጎል መለየት አትችዪም።

«አልተገኘም» የሚለውንም ቢሆን እንዳለ አትቀበዪ። የአካል ሥርዓቱን ስም ስትጫኚ ወደ ዝርዝሩ ይወስድሻል፤ እዚያ ዕድሜውን፣ ሪፖርተሩን (ክሬ የሠራበትን ሴል በቀለም የሚያሳየውን ጂን) እና የምርመራውን ዘዴ ተመልከቺ። በ9.5 ቀን ፅንስ ላይ አልተገኘም ማለት ለአዋቂ አይጥ መልስ አይሆንም። ሪፖርተሩ ላክዜድ (ቤታ-ጋላክቶሲዴዝ የሚባለውን ኢንዛይም የሚሠራ፣ ሲነከር ሰማያዊ የሚሰጥ ጂን) ሆኖ ቀለሙ የተነከረው ሙሉ አካል ላይ ከሆነ፣ ማቅለሚያው ወፍራም ህብረ ሕዋስ ውስጥ በደንብ ስለማይገባ ውስጡ ነጭ ሊቀር ይችላል። በተቃራኒው ኩላሊትና አንጀት የራሳቸው ቤታ-ጋላክቶሲዴዝ ስላላቸው ክሬ በሌለበትም ሰማያዊ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ክሬ የሌለው ወንድም አይጥ አብሮ ካልተነከረ ያ ምስል ማስረጃ አይሆንም። ፎቶ ካለ ክፈቺው። «ተገኝቷል» ከሚለው ቃል ጀርባ አንዳንዴ ሙሉ ህብረ ሕዋስ፣ አንዳንዴ ተራርቀው የተበተኑ ጥቂት ሴሎች ናቸው ያሉት።

ሌላው፣ ሪፖርተር የሚያሳየው ታሪክን ነው። ክሬ በፅንስነት አንድ እናት ሴል ውስጥ ለአንድ ቀን ቢሠራ፣ ከእሷ የተወለዱት ሴሎች ሁሉ ዕድሜ ልካቸውን ቀለም ይይዛሉ። ፒዲኤክስ1 ጥሩ ምሳሌ ነው፤ በአዋቂ አይጥ በዋናነት ቤታ ሴል ውስጥ ይገኛል፣ ፅንስ ላይ ግን ቆሽት የሚሠራበት ጥንስስ በሙሉ ይዞታል። ስለዚህ በእሱ የሚነዳ ክሬ ኢንዛይም አመንጪ ሴሎችንም ሊነካ ይችላል። ጂኑ ራሱ ዛሬ የት እንደሚገኝ በዚያው ኤምጂአይ የጂን መግለጫ ክፍል አይተሽ ከክሬው ዝርዝር ጋር ጎን ለጎን አስቀምጪው፤ የማይገጥሙበት ቦታ ላይ ነው መጠንቀቅ ያለብሽ።

ከዚያ በራስሽ እጅ አረጋግጪ። ክሬውን ኤአይ14 ከሚባለው ሪፖርተር አይጥ ጋር አዳቅዪ፤ ክሬው በሠራበት ሴል ቲዲቶማቶ የሚባል ቀይ ፕሮቲን ይበራል፣ ያለ አንቲቦዲ ይታያል። አንዱን ጥንድ ክሬው ከአባት የመጣ፣ ሌላውን ከእናት የመጣ አድርጊ። ይህ ትርፍ ሥራ አይደለም፤ ሲን1-ክሬ (የነርቭ ሴል ክሬ) ከአባት ሲመጣ፣ ቴክ-ክሬ (የደም ሥር ሽፋን ክሬ) ደግሞ ከእናት ሲመጣ በዘር ሴል ውስጥ ሊሠሩና ጂኑን ከመላው አካል ሊያጠፉ እንደሚችሉ የታወቀ ነው። ከየጥንዱ ሁለት ሦስት ግልገል ይበቃሻል። በ4 በመቶ ፓራፎርማልዲሃይድ (ህብረ ሕዋስ እንዳይበላሽ በሚያቆየው) አጥቢ፤ አንጎሉን በ40 ማይክሮሜትር፣ ቆሽቱን በ10 ማይክሮሜትር ቁረጪ፤ ቆሽቱን በኢንሱሊን አንቲቦዲ ንከሪ። ሁለት ቁጥር ነው የምትፈልጊው፦ ኢንሱሊን ካላቸው ሴሎች ስንት በመቶው ቀይ ነው፣ ከቀዮቹስ ስንት በመቶው ኢንሱሊን አለው። የመጀመሪያው ብርታቱን፣ ሁለተኛው ቤታ ሴል ላይ ብቻ መሥራት አለመሥራቱን ይነግርሻል። ብዙ ሰው አንደኛውን ቆጥሮ ሁለተኛውን ይተዋል።

ኤአይ14 ቀልጣፋ ሪፖርተር መሆኑን አትርሺ። ሁለቱ ሎክስፒዎች ተራርቀው የተቀመጡበት የአንቺ ጂን እዚያው ሴል ውስጥ ሳይቆረጥ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ከተለየው ደሴት ዲኤንኤ አውጥተሽ ራሱን ጂኑን መርምሪ።

እዚህ ላይ ሁለት ፕራይመር (ፒሲአር የሚነሳባቸው አጫጭር የዲኤንኤ ቁራጮች) ብቻ አትጠቀሚ። የተለመደው ምርመራ አንዱን ሎክስፒ አቅፎ የሚያነብ ነው፤ ሎክስፒ ያለበት ቅጂ ከፍ ያለ መስመር፣ የሌለበት ዝቅ ያለ መስመር ጄሉ ላይ ይሰጣል። ጂኑ በዘር ሴል ውስጥ ከጠፋ ግን አንዱ ፕራይመር የሚይዝበት ቦታ አብሮ ይሄዳል፤ የጠፋው ቅጂ ጨርሶ አይታይም። አንዱ ቅጂው ከመላው አካል የጠፋ አይጥ ጄል ላይ ንጹሕ «ፍሎክስ በፍሎክስ» መስሎ ይወጣል፣ አንቺም ወደ ሙከራው ታስገቢዋለሽ። ሦስተኛ ፕራይመር ከሁለተኛው ሎክስፒ ማዶ ጨምሪ፤ የጠፋው ቅጂ የራሱን አጭር መስመር ይሰጣል። ክሬ በሌለው ግልገል የጅራት ጫፍ ላይ ያ መስመር ከታየ ነገሩ አለቀ፦ ስረዛው የመጣው ከወላጅ ዘር ሴል ነው። ያን ግልገል ከሙከራውም ከማዳቀያውም አውጪው።

ስለ 003573 ደግሞ አንድ ልጨምር። ይህ መስመር ሎክስፒ ሳይኖር ብቻውን የስኳር መቋቋም ችግር እንደሚያሳይ በ2006 ታትሟል፤ ግንባታውም ውስጥ የሰው የዕድገት ሆርሞን ጂን ቁራጭ አለበት። ስለዚህ ማነጻጸሪያሽ ፍሎክስ ብቻ የያዘ አይጥ ከሆነ ሙከራሽ ዋጋ የለውም፤ ክሬ ብቻ የያዘ ቡድን ግዴታ ነው። ምርጫው ገና በእጅሽ ከሆነ ኢንስ1ቲኤም1.1(ክሬ)ቶር የሚባለውን፣ ቁጥሩ 026801 የሆነውን እመርጥልሻለሁ። ክሬው በራሱ በኢንስ1 ቦታ ገብቷል፤ አይጥ ሁለት የኢንሱሊን ጂን ስላላት የአንዱን ቅጂ ማጣት ትችለዋለች፤ በ2015 የሠሩት ሰዎችም አንጎል ላይ ፈልገው አላገኙትም። እሱንም ቢሆን በአንድ ቅጂ ብቻ ያዢው፣ ክሬ ብቻ የያዘውንም ቡድን አትቀንሺ።

ቁጥሩን አሁኑኑ አስዪ። ክሬና አንድ ፍሎክስ የያዘውን ከፍሎክስ በፍሎክስ ጋር ስታዳቅዪ ከአራት ግልገል አንዱ ነው የምትፈልጊው፤ ወንድ ብቻ ከፈለግሽ ከስምንት አንድ። ለ10 ወንድ 80 ግልገል ገደማ ነው። ክሬ ብቻ የያዙት ማነጻጸሪያዎች ከዚህ ማዳቀል አይወጡም፤ ሌላ ጥንድ ያስፈልጋቸዋል፤ ዕድሜያቸው እንዲገጥም በዚያው ሳምንት አጣምሪያቸው። የእንስሳት ቤቱን ፈቃድ ስትሞዪም እነሱን ከመጀመሪያው አስገቢ፤ ኋላ ላይ ቁጥር አስጨምሩልኝ ማለት ወራት ይወስዳል።