«ቤታችሁ ቆዩ፣ ደውለን እንጠራችኋለን» ለተባለ ሠራተኛ

ጥያቄ፦ በአንድ ሆቴል ውስጥ በክፍል ጽዳት 4 ዓመት ሠርቻለሁ፤ መደበኛ ደመወዜ 6,000 ብር ነው። ወረርሽኝ መግባቱ ከተሰማ በኋላ እንግዳ በመጥፋቱ፣ ከ48 ሠራተኞች 31 የምንሆነውን ሥራ አስኪያጁ ሰብስቦ «ቤታችሁ ቆዩ፣ ደውለን እንጠራችኋለን» አለን። ደብዳቤ አልተሰጠንም። 52 ቀን ሆነው፤ ደመወዝ የለም። አሁን ደግሞ «በገዛ ፈቃዴ ሥራ ለቅቄያለሁ» የሚል ወረቀት ላይ ከፈረምን የአንድ ወር ደመወዝ እንደሚሰጠን ተነግሮናል። ልፈርም? ከመንግሥትስ ለሥራ አጥ የሚከፈል ድጎማ አለ?

መልስ፦ አይፈርሙ። ምክንያቱን ለማስረዳት ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልነሣ።

በአገራችን ሥራ ላጣ ሰው ደመወዙን የሚተካ የሥራ አጥነት መድን የለም። ከደመወዝዎ የሚቀነሰው 7 በመቶና አሠሪው የሚጨምረው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ለእርጅና፣ ለአካል ጉዳትና ለተተኪዎች የሚውል እንጂ ለሥራ አጥነት የሚከፈል አይደለም። የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔትም በአካባቢው ማኅበረሰብ ተለይተው የተመረጡ እጅግ ችግረኛ ቤተሰቦችን የሚያቅፍ ነው፤ ትናንት ደመወዝተኛ የነበረ ሰው ዛሬ ተመዝግቦ ነገ የሚቀበልበት አሠራር የለውም። ወረርሽኝ ሲመጣ ደግሞ የመንግሥት ካዝና ራሱ በሁለት በኩል ይጎዳል። ሆቴሉ ካልሠራ ተጨማሪ እሴት ታክስም ሆነ ከደመወዝ የሚቆረጥ ግብር አይገባም፤ የሕክምናው፣ የለይቶ ማቆያውና የእርዳታው ወጪ ግን በዚያው ወር ይንራል። በኮሮና ጊዜ፣ በ2012፣ መንግሥት ከሰጣቸው እፎይታዎች አንዱ ሥራቸው ቆሞም ለሠራተኞቻቸው ደመወዝ መክፈል ለቀጠሉ ድርጅቶች የ4 ወር የደመወዝ ግብር መተው ነበር። ድጋፉ የሄደው በአሠሪው በኩል ነው፤ የደረሰውም ስሙ ከደመወዝ መክፈያው ላይ ላልተሰረዘ ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ዛሬ በእጅዎ ያለው ዋነኛ ዋስትና የሥራ ውልዎ ነው። ያ ወረቀት የሚያፈርሰው እሱኑ ነው።

ብዙ ሰው «በወረርሽኝ ጊዜ ሠራተኛ ማሰናበት ክልክል ነው» ሲል ይሰማል። ይህ የመጣው ለ5 ወር ከጸናው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ቁጥር 3/2012 ነው። ያ አዋጅ ጊዜው አልፏል፤ አሁን የሚገዛን መደበኛው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው።

በዚህ አዋጅ «ቤት ቆዩ» የሚባለው ነገር ሕጋዊ ስሙ የሥራ ውል እገዳ ነው። ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት፣ ወይም በአሠሪው ጥፋት ባልመጣ የገንዘብ ችግር፣ ሥራ ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀናት ሲቋረጥ ደመወዝ ሳይከፈል ውሉ ሊታገድ ይችላል። አሠሪው ግን ምክንያቱ በተፈጠረ በ3 ቀናት ውስጥ ለሥራና ክህሎት ቢሮ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ቢሮው ምክንያቱን መርምሮ ከተቀበለው የእገዳውን ጊዜ ይወስናል፤ ያም ከ90 ቀን ሊበልጥ አይችልም። ካልተቀበለው ሥራ እንዲጀመርና የታገዱባቸው ቀናት ደመወዝ እንዲከፈል ያዛል። አንድ አደገኛ ነጥብ እዚህ አለ፦ አሠሪው አሳውቆ ቢሮው በ3 ቀናት ውስጥ መልስ ካልሰጠ እገዳው እንደተፈቀደ ይቆጠራል። ስለዚህ መጀመሪያ ቢሮው ሄደው ሆቴሉ ማሳወቂያ ማስገባቱንና በየትኛው ቀን እንዳስገባ ያጣሩ።

ካላስገባ፣ የእርስዎ መከራከሪያ አንቀጽ 54 ነው፤ ለመሥራት ዝግጁ ሆኖ በእሱ ባልመጣ ምክንያት ያልሠራ ሠራተኛ ደመወዙ ይገባዋል። አሠሪው «ከአቅም በላይ ነው» ማለቱ አይቀርም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአቅም በላይ የሚባለው አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችልና ግዴታን መፈጸምን ፈጽሞ የሚከለክል ነገር ነው። ሆቴሉ በመንግሥት ትእዛዝ ተዘግቶ ቢሆን ክርክሩ ይጠነክርለት ነበር። እናንተ ጋ ግን 17 ሰው አሁንም እየሠራ ነው፤ የገበያ መቀዝቀዝ ብቻውን እዚያ ደረጃ መድረሱን እጠራጠራለሁ። ለአሠሪው የሚሻለው የገንዘብ ችግር የሚለው ምክንያት ነው፤ እሱም ቢሆን በሒሳብ ሰነድ የሚረጋገጥ ነው።

በዚህ ሳምንት አንድ ገጽ ደብዳቤ ይጻፉ። ወደ ቤት የተላኩበትን ቀን፣ ማን ምን እንዳለ፣ አሁንም ለመሥራት ዝግጁ መሆንዎን ይግለጹ። ሁለት ቅጂ ያዘጋጁና አንዱ ላይ የተቀባይ ፊርማና ቀን ያስደርጉ፤ አንቀበልም ካሉ በፖስታ ቤት በአደራ ይላኩና ደረሰኙን ያስቀምጡ። ይህ ደብዳቤ ከሌለ አሠሪው በኋላ «ራሱ ከሥራ ቀርቷል» ሊል ይችላል። እገዳው ሕጋዊ ሆኖ ከተገኘም ጊዜው ባለቀ ማግስት፣ ጥሪ ሳይጠብቁ፣ በሥራ ቦታዎ ይገኙ፤ ሕጉ ይህን ከሠራተኛው ይጠብቃል።

ሆቴሉ ከቀነሳችሁስ? ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ቢያንስ 5 ሰው ሲነካ የሠራተኛ ቅነሳ ይባላል፤ የእናንተ 31 ነው። የ2 ወር ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል፤ ካልተሰጠ ደመወዙ ይከፈላል፣ 12,000 ብር። የስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ሲሆን ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት ሲሶ ይታከልበታል፦ 6,000 እና 3 ጊዜ 2,000፣ ድምሩ 12,000። በቅነሳ ጊዜ በዚህ ላይ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመራል፣ ሌላ 12,000። ጠቅላላው ከግብር በፊት 36,000 ብር ነው፤ ያልተጠቀሙበት የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ተለውጦ ለብቻው ይታሰባል። ከእንግዳ የሚሰበሰበው የአገልግሎት ክፍያ እንደ ደመወዝ ስለማይቆጠር ስሌት ውስጥ አይገባም። «በፈቃዴ ለቀቅሁ» ብሎ የፈረመ ሰው ግን የማስጠንቀቂያውንም የ60 ቀኑንም ያጣል፤ ስንብት ክፍያም በገዛ ፈቃዱ ለሚለቅ ሠራተኛ በጠባብ ሁኔታ ብቻ የሚሰጥ ነው። የቀረበልዎት 6,000 ብር ነው።

ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሸነፉት በይርጋ፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት ጊዜ በማለፉ ነው። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ውሉ በተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ፣ የደመወዝና ከውሉ መቋረጥ የሚመነጭ ክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። አሠሪው «ያሰናበትኩት የዚያን ዕለት ነው» ሊል ስለሚችል 3 ወሩን ወደ ቤት ከተላኩበት ቀን ይቁጠሩ፤ በዚህ ስሌት የቀረዎት 5 ሳምንት ያህል ነው። «እንከፍላችኋለን» የሚል የቃል ተስፋ ይርጋን አያቋርጥም። ክስ መመሥረት ወይም አሠሪው ዕዳውን በጽሑፍ ማመኑ ያቋርጣል። ክሱ የሚቀርበው ለመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ሲሆን የዳኝነት ክፍያ የለበትም፤ ውሳኔውም በ60 ቀናት ውስጥ እንዲሰጥ ሕጉ ያዛል። የቅጥር ደብዳቤ፣ የባንክ መግለጫና የጡረታ መለያ ቁጥር ይያዙ። የጡረታ መዋጮዎ በየወሩ ገቢ መደረጉንም በዚሁ አጋጣሚ ያጣሩ፤ ድርጅት ሲቸገር አስቀድሞ የሚያዘገየው ብዙ ጊዜ እሱን ነውና።

ከባልደረቦችዎ የፈረሙ ካሉ ቅጂውን እንዲያስቀምጡ ይንገሯቸው። ለሁሉም አስቀድሞ በአንድ ዓይነት ቃል የተጻፈና በአንድ ቀን የተፈረመ «መልቀቂያ» በፈቃድ የተደረገ ላለመሆኑ በችሎት ሊቀርብ የሚችል ማስረጃ ነው።