«እማዬ፣ አንቺ ስታዪኝ እግሬ ይከብደኛል»

ጥያቄ፦ የ36 ዓመት ሴት ነኝ፤ ደብረ ብርሃን ውስጥ የሰውነት ማጎልመሻ መምህርት ሆኜ እሠራለሁ። ዲፕሎማዬን ወደ ዲግሪ ለማሳደግ በክረምት መርሐ ግብር ስፖርት ሳይንስ እየተማርኩ ሦስተኛ ክረምቴን ጨርሻለሁ። የ12 ዓመት ልጄ ሩጫ ትወዳለች። በትምህርት ቤቶች ውድድር 800 ሜትር ሮጣ ሁለተኛ ስትወጣ እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ፤ እኔም በእሷ ዕድሜ እሮጥ ነበር፣ ያስቆሙኝ ቤተሰቦቼ ናቸው። ስለዚህ የተማርኩትን ሁሉ ለእሷ ላውለው ተነሣሁ። ጠዋት ጠዋት የልብ ምቷን እቆጥራለሁ፣ በየሳምንቱ እመዝናታለሁ፣ ልምምድ ላይ ሰዓት እይዝላታለሁ፣ ሁሉንም በደብተር እመዘግባለሁ። ከ2 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ በታች ከገባች አዲስ የመሮጫ ጫማ እንደምገዛላት ቃል ገብቼላታለሁ። የመመረቂያ ጽሑፌንም በእሷ ላይ ለመሥራት አስቤአለሁ። ከሁለት ወር ወዲህ ግን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሆዴን አመመኝ ትላለች። ባለፈው ሳምንት ደግሞ «እማዬ፣ አንቺ ስታዪኝ እግሬ ይከብደኛል» አለችኝ። ባለቤቴ «መጀመሪያውኑ ሩጫው ይቅርና ትምህርቷን ትማር ብዬ ነበር» ይላል። ልጄን ሳልጎዳ እንዴት ላበረታታት?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ደብዳቤዎን ሳነብ ከሁሉ አስቀድሞ ያስደሰተኝ ልጅዎ ያንን ቃል አፍ አውጥታ መናገሯ ነው። በዚህ ዕድሜ ያሉ ብዙ ልጆች የከበዳቸውን ነገር ለወላጅ ከመናገር ይልቅ ዝም ይላሉ፣ ወይም ያልተጎዳ ጉልበታቸውን ተጎዳ ይላሉ፣ ወይም አንድ ቀን ድንገት «ሩጫ አልወድም» ብለው ጫማቸውን ይወረውራሉ። የእርስዎ ልጅ ግን ሩጫውን አልጠላችውም፤ የጠላችው ምን እንደሆነም በአንድ ዐረፍተ ነገር ነግራዎታለች። እንዲህ ያለ ነገር የሚነገረው ለሚታመን ሰው ነው። ስለዚህ እንደ ክስ አይስሙት።

የሆድ ሕመሙን በተመለከተ፣ መልሱ ጭንቀት ነው ብለን ከመቸኮላችን በፊት ሐኪም ይያት። የሚሮጡና በፍጥነት በማደግ ላይ ያሉ ልጃገረዶች የደም ማነስ ሊያጋጥማቸው ስለሚችል የደም ምርመራም ቢደረግላት መልካም ነው። ምርመራው ሕመም ካላገኘ፣ ሕመሙም ሰዓት በሚያዝበት ቀን ብቻ እየመጣ በሌላው ቀን የሚጠፋ ከሆነ፣ ሆዷ የሚናገረው እግሯ የተናገረውን ነው ማለት ነው። ያም ቢሆን «ውሸትሽን ነው» አይበሏት፤ ጭንቀት የሚያመጣው የሆድ ቁርጠት በእውነት ያማል።

ታዲያ እናት ስታያት እግሯ ለምን ይከብዳል? ሩጫን ለለመደ ሰው አብዛኛው እንቅስቃሴ ሳይታሰብበት የሚከናወን ነው። ሰው እየተመዘነ መሆኑን ሲያውቅ ግን ልቡ ከመንገዱ ወጥቶ ወደ ገዛ እግሩ ይመለሳል፤ «አሁን ስንት ሆንኩ? ፊቷ ምን ይመስላል?» እያለ ይሮጣል፤ እንደዚያ የሚሮጥ ሰው ደግሞ ሰውነቱ ይወጣጠርበታል፣ ትንፋሹ ያጥርበታል። ሰዓት የያዘው አሠልጣኝ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀለል ይል ነበር፤ አሠልጣኝ ከልምምድ በኋላ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እናት ግን ስቶፕ ዋቿን ይዛ ወደ ቤት ትገባለች፣ እራት ታቀርባለች፣ ጠዋት ደግሞ ከአልጋ ሳትነሣ የልብ ምቷን ልትቆጥር ትመጣለች። ልጅዎ ከፈተና ክፍል የምትወጣበት ሰዓት የላትም።

በትምህርትዎ የስፖርት ሥነ ልቦናን ኮርስ ወስደው ከሆነ ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ያዳበሩትን የተነሳሽነት ንድፈ ሐሳብ ያውቁታል። ሰው አንድን ነገር ከውስጡ ወድዶ እንዲቀጥልበት ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል ይላሉ፤ በራሱ ፈቃድ የሚያደርገው መሆኑ፣ እየቻለው መሄዱን ማየቱ፣ ከሚወዳቸው ሰዎች ጋር የተሳሰረ መሆኑ። እርስዎ ሁለተኛውን ለማጠናከር ብለው በብዙ ደከሙ፤ ነገር ግን የቅዳሜው ልምምድ ውሳኔ የማን እንደሆነ ስለጠፋ የመጀመሪያው ሳሳ፣ የእናትና የልጅ ጨዋታ በሰከንድ ስለተተካ ሦስተኛውም ተጎዳ።

የጫማውም ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማርክ ሌፐርና ባልደረቦቹ ያሳተሙት የታወቀ ጥናት አለ፤ በራሳቸው ፍላጎት ሥዕል መሣል የሚወዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን ወስደው ለከፊሎቹ «ከሣላችሁ ሽልማት ታገኛላችሁ» ብለው አስቀድመው ነገሯቸው፤ ከቀናት በኋላ እነዚያ ልጆች በነፃ ሰዓታቸው ለሥዕል የሰጡት ጊዜ ሽልማት ካልተነገራቸው ልጆች ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ገደማ አንሶ ተገኘ። ሳይጠብቁት ሽልማት ያገኙት ልጆች ፍላጎት ግን አልቀነሰም። እርስዎም አስቀድማ ትወደው የነበረውን ነገር ዋጋ አወጡለት። የመሮጫ ጫማ ለሚሮጥ ልጅ እንደ ደብተርና እንደ እስክሪብቶ ነው፤ የቀድሞው ካለቀ ሰዓቷ 2 ደቂቃ ከ50 ሰከንድም ቢሆን ይግዙላት፣ ሲገዙላትም ስለ ሰከንድ ምንም አይንገሩ።

አሁን ወደ ራስዎ የሙያ መስክ ልግባ፤ እኔ የሥነ ልቦና ባለሙያ ብሆንም የልጆች እድገት በሁለታችንም ደጅ የሚያልፍ ጉዳይ ነው። ሴት ልጆች በቁመት እጅግ በፍጥነት የሚያድጉት በአማካይ 12 ዓመት አካባቢ ነው። አጥንት ቀድሞ ይረዝማል፣ ጡንቻና ጅማት ይከተላል፤ በዚህ መካከል ተረከዝና ጉልበት ሊታመም፣ የአሯሯጥ ስልት ሊበላሽ፣ ሰዓትም ለወራት ሊቆም ወይም ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። ያ ድክመት አይደለም፤ ሰውነቷ ቤቱን እያደሰ ነው። ስለዚህ በዚህ ዕድሜ በየሳምንቱ የሚመዘገብ ሰዓት ስለ ልምምዱ ብዙም አይነግርዎትም፤ ለልጅቱ ግን «ወደ ኋላ እየቀረሁ ነው» የሚል የሐሰት ዜና ያቀብላታል። የልብ ምቱም እንዲሁ ነው፤ ከፍተኛውን የልብ ምት ለመገመት ከ220 ላይ ዕድሜን የመቀነስ ቀመር ለአዋቂዎችም ቢሆን ሻካራ ግምት ሲሆን፣ በልጅነትና በአፍላ ወጣትነት ከፍተኛው የልብ ምት ከዓመት ዓመት እምብዛም ሳይለወጥ በ200 አካባቢ ስለሚቆይ ለእሷ አይሠራም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክር ልጆች በአንድ ስፖርት ላይ ብቻ ማተኮርን በተቻለ መጠን እስከ 15 እና 16 ዓመት እንዲያዘገዩት፣ በሳምንትም አንድ ወይም ሁለት ቀን ከስፖርታቸው እንዲያርፉ ይመክራል። ገመድ መዝለሏም፣ ከሰፈር ልጆች ጋር ኳስ መጫወቷም ልምምድ ነው።

ሚዛኑን ግን በምክር መልክ ሳይሆን በልመና እላለሁ፤ ዛሬውኑ ያንሱት። በዚህ ዕድሜ ያለች ልጃገረድ ኪሎ መጨመር አለባት፤ ካልጨመረች ነው መጨነቅ ያለብን። እናቷ በየሳምንቱ እየመዘነች በደብተር ስትጽፍ ያየች የምትሮጥ ልጅ፣ ማንም አንድ ቃል ሳይናገራት፣ መቅለል ማለት መፍጠን ነው ብላ ልትደመድም ትችላለች። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ምግብን መሸሽ፣ የወር አበባ መዘግየት ወይም መቋረጥ፣ የአጥንት መሳሳት፣ አንዴ ከጀመረ ለመመለስ ዓመታትን የሚወስድ ነገር ነው። ስለ ምግብ ከእሷ ጋር መነጋገር ያለብዎት አንድ ነገር ቢኖር ከልምምድ በፊትና በኋላ መራብ አለመራቧን ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ደስ ባይልዎትም ይታገሡኝ። ሁለተኛ በወጣች ጊዜ ያነቡት ለማን ነበር? በአንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ «ያስቆሙኝ ቤተሰቦቼ ናቸው» ብለው አለፉት። በእኔ ግምት የደብዳቤው ልብ እዚያ ላይ ነው። የተከለከለ ሰው ልጁን ላለመከልከል ይምላል፤ ያ መልካም መሐላ ነው። ነገር ግን መሐላው ሲጠብቅ ልጅቱ ሁለት ሩጫ መሮጥ ትጀምራለች፤ አንዱን የራሷን፣ ሌላውን ከ24 ዓመት በፊት ሜዳ ላይ የቀረውን የእናቷን። እግሯ የከበዳት ለዚህም ሊሆን ይችላል። እርስዎን ያስቆሙዎት ሰዎች እና ዛሬ እርስዎ አንድ የሚያደርጋችሁ ነገር ቢኖር፣ አሳባችሁ ፍጹም ተቃራኒ ሆኖ ሳለ፣ በልጅቱ እግር ላይ የምትወስኑት እናንተ መሆናችሁ ነው።

በአገራችን የታላላቅ ሯጮች ታሪክ ለወላጆች በተሳሳተ መንገድ ይተረካል ብዬ አምናለሁ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ደብተሩን በክንዱ ሸጉጦ ወደ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ እንደነበር ሁላችንም ሰምተናል፤ ያንን ስንሰማ የምናስታውሰው ርቀቱን ነው። እኔ ግን የማስታውሰው በዚያ መንገድ ላይ ሰዓት የሚይዝበት ሰው አለመኖሩን፣ አባቱም ሩጫውን አለመውደዳቸውን ነው። ይህን ስል መከልከል ይጠቅማል ማለቴ አይደለም፤ ከበቆጂና ከአሰላ ተነሥተው ስማቸው ሳይታወቅ የቀሩ ልጆችም ብዙ ናቸው፤ ያጡት ዕድልን እንጂ ሙከራን አይደለም። የምለው ሩጫው የእሱ መሆኑን ነው።

እርስዎስ? 36 ዓመት ለሩጫ እርጅና አይደለም። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ በአዲስ አበባ 10 ኪሎ ሜትር ያስሮጣል፤ ከእርስዎ የሚበልጡ ብዙ እናቶች ይሮጡበታል። ልጅዎን ሳያስከትሉ፣ ከሥራ ባልደረቦችዎ ጋር፣ በሳምንት ሁለት ቀን ልምምድ ይጀምሩ። ስቶፕ ዋቹን መያዝ ካማረዎት በራስዎ ላይ ይያዙት። ልጅዎም እናቷ ላብ በላብ ሆና፣ ደክሟት፣ ደስ ብሏት ወደ ቤት ስትገባ ትይ፤ ከመቶ ምክር ይልቅ ይህ ይገባታል።

ትምህርትዎንም እንደዚሁ። መምህርት እናት በቤቷ ውስጥ ዐዋቂ ብቻ ሆና መታየት ይቀናታል፤ እርስዎ ግን ተማሪ ነዎት፣ ያም ትልቅ ዕድል ነው። ማታ ማታ በአንድ ጠረጴዛ አብራችሁ አጥኑ። ስታቲስቲክስ ያስቸገረዎት ቀን «ዛሬ አልገባኝም» ይበሏት። የጡንቻዎችን ስም እንድትጠይቅዎት መጽሐፉን ይስጧትና ሲሳሳቱ ትሳቅብዎት። እየተሳሳተ የሚማር ትልቅ ሰው ያየች ልጅ መም ላይ መሳሳት አያስፈራትም።

የመመረቂያ ጽሑፉን ግን በእሷ ላይ አይሥሩ። በጥናት ላይ የሚሳተፍ ሰው ያለ ምንም ፍርሃት «አልፈልግም» ማለት መቻል አለበት፤ የ12 ዓመት ልጅ እናቷ የምትመረቀው በእሷ ሩጫ እንደሆነ እያወቀች እንዴት እንዲህ ትላለች? አማካሪዎን አነጋግረው፣ በወላጆቻቸውና በትምህርት ቤቱ ፈቃድ ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ይሥሩ።

ባለቤትዎን እንደ ተቃዋሚ አይዩአቸው። «ትምህርቷን ትማር» የሚሉት ሩጫ እንጀራ ላይሆን ይችላል ብለው ስለሚፈሩ ነው፣ ፍርሃታቸውም መሠረት የሌለው አይደለም። ችግሩ ክርክሩ በልጅቱ ፊት መሆኑ ነው፤ በደንብ የሮጠች ቀን እናቷ ረታች፣ ሆዷን ያመማት ቀን አባቷ ረታ። እሷ በሌለችበት ተቀምጣችሁ በሳምንት ስንት ቀን እንደምትለማመድና የጥናት ሰዓቷ መቼ እንደሆነ ተስማሙ፤ ከዚያም አባቷ አንድ ቀን እሳቸው ይውሰዷት። ስለ ሩጫ ምንም የማያውቅ አባት ሜዳ ዳር ቆሞ ዝም ብሎ ሲያይ ለልጅ የሚሰጠው ዕረፍት እርስዎ ከሚገምቱት በላይ ነው።

ለልጅዎ የሚሉት ነገር ከጠፋዎት እንዲህ ብለው ይጀምሩ፦ «የነገርሽኝን ሳስብበት ሰነበትኩ። ሰዓት የምይዘው ላንቺ ብዬ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ለራሴም ኖሯል። ከዛሬ ጀምሮ አልይዝም። ቅዳሜ ልምጣ ወይስ ልቅር?» ቅሪ ካለችዎት ይቅሩ፤ በሌላው ቀን በር ላይ ቆመው ምክንያቷን አይጠይቋት። ደብተሩን እሷው ትውሰደው፤ ብትፈልግ ትጻፍበት፣ ብትፈልግ ትቅደደው። ልትከፍተው የፈለገች ቀን ቁጥሩን ትጠይቅዎታለች፤ ያን ጊዜ እውቀትዎ ቦታውን ያገኛል። ኑ ካለችዎት ደግሞ ጋቢና ውሃ ይዘው ይሂዱ፤ የደብረ ብርሃን ጠዋት ይበርዳል። ሲመለሱ ባጃጅ ውስጥ «ስንት ገባሽ?» ከማለት ይልቅ «ራበሽ?» ይበሏት፤ ስለ ሩጫው ማውራት ከፈለገች እሷ ትጀምር።

ይህን ሁሉ ካደረጉ በኋላ «ሩጫውን ልተወው» ብትልስ? ብዙ ወላጆች በዚህ ይደነግጣሉ። አንድ ወቅት አርፋ ትይ። የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ ዕድሜ ላሉ ልጆች የሚመክረው በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ መንቀሳቀስን ነው፤ ያ መረብ ኳስም፣ ብስክሌትም፣ ጭፈራም ሊሆን ይችላል። ከሁለት ወር በኋላም የሆድ ሕመሙ ካልተወ፣ ምግብ መቀነስ ከጀመረች ወይም እንቅልፍ ካጣች፣ በአካባቢዎ ያለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ሁለታችሁም አብራችሁ ሂዱ፤ እሷን ብቻዋን አይላኩ።