ጥያቄና መልስ፦ በድሮ ወፍጮ ቤትና በወንዝ ዳር ብረት ፍለጋ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። እንግሊዝ አገር የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ባለፈው ሲመጣ ብረት መፈለጊያ ማሽን ይዞልኝ መጣ። እሱ እዚያ በወንዝ ዳርና በድሮ ወፍጮ ቤቶች ዙሪያ እየዞረ የጥንት ሳንቲም ያገኛል። እኔም በበሬሳ ወንዝ ዳርና በአንኮበር ቁልቁለት ልሞክር አስቤያለሁ። ደህና ቦታ በምን ይታወቃል?

መልስ፦

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ወድጄዋለሁ። ማሽኑን ከማብራትህ በፊት ግን ሕጉን እንነጋገር። ወንድምህ ያለበት አገር ባለመሬቱ ከፈቀደ መፈለግ ይቻላል። ከ300 ዓመት በላይ የሆነው የወርቅ ወይም የብር ዕቃ ሲገኝ ግን በ14 ቀን ውስጥ ማስታወቅ ግዴታ ነው። የእኛ ይለያል። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግ ክልክል ነው። በአጋጣሚ ያገኘ ሰው ደግሞ ወዲያው ማስታወቅና እስኪረከቡት ድረስ ሳይነካካ መጠበቅ አለበት። አንተ ማሽን ይዘህ አስበህበት ስትወጣ አጋጣሚ አይባልልህም። ስለዚህ መጀመሪያ የወረዳህን ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ጠይቅ። በተለይ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መቀመጫ የነበረችው አንጎለላ፣ የአንኮበር ቤተ መንግሥት ኮረብታና የቤተ ክርስቲያን ግቢ ማሽን ይዘህ እንዳትገባባቸው።

ቦታ ማወቅ ግን ፈቃድ አይጠይቅም። በእግር መሄድ፣ ማየት፣ ሽማግሌ መጠየቅና መጻፍ ማንም አይከለክልህም። እኔ ደግሞ ከማሽኑ ይልቅ የምወደው ይሄንን ነው።

ሰው ዕቃ የሚጥለው ሲቀመጥ፣ ሲያራግፍ፣ መቀነቱን ሲፈታና ውሃ ሲሻገር ነው። የውሃ ወፍጮን እንይ። እኔ ባደግሁበት ገጠር አንድ ነበረ። ውሃው ከወንዙ በቦይ ተጠልፎ ይመጣና በእንጨት አሸንዳ ቁልቁል እየተወረወረ ከታች ያለውን የእንጨት መዘውር ይመታል፤ መዘውሩም ከላይ ያለውን ድንጋይ ያዞራል። ድንጋዩ ሲለሰልስ ይወቀራል። ወፍጮው ሥራ ካቆመ ብዙ ዘመን ቢያልፍም በሩ አጠገብ መሬቱን ጫር ጫር ስታደርግ ከመውቀሪያው ጫፍ የተሸረፈ የዛገ ብረት ታገኝ ነበር፣ ከጥፍር የማይበልጥ። ሴቶቹ ወረፋ የሚጠብቁት ግን በሩ ላይ አልነበረም። ትንሽ ከፍ ብላ የነበረች ሾላ ነበረች፣ አህያ የሚራገፈውም ምሳ የሚበላውም እሷ ሥር ነው። ወፍጮው ፈርሶ ቦዩ ብቻ ከቀረ ቦዩን ተከትለህ ውረድ፣ ከዚያ ጥላውንና የአህያ መንገዱን ፈልግ።

ሳንቲም ከወፍጮ ቤት ብዙ አትጠብቅ። አያቴ እንደምትለው አስፈጪው የሚከፍለው ከእህሉ ላይ ተሰፍሮ ነበር። ከምኒልክ ሳንቲሞች በፊት ደግሞ የሸዋ ገበያ ዝርዝር አሞሌ ጨው ነው፤ ጨው በአንድ ክረምት ይሟሟል። ጠገራው ማርትሬዛ ብር ወደ 28 ግራም የሚመዝን ትልቅ ብር ነው። እሱ የጠፋበት ሰው እስኪያገኘው ድረስ ከቦታው አይነሳም ነበር። ብታገኝም 1780 የሚለውን ዓመት አይተህ አትቸኩል። ምስሏ ያለበት የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በዚያ የፈረንጅ ዓመት ነው፣ ከዚያ በኋላ በተለያየ አገር ሲመታ የኖረው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ነው። ስለዚህ ከገንዘብ ይልቅ የበቅሎ ልጓም፣ የተሰበረ ማጭድ፣ ወስፌና ቀለህ ጠብቅ።

ከወፍጮው ይልቅ እኔ የማምነው የወንዝ መሻገሪያን ነው። ድልድይ ሳይሠራ ሰውም ከብትም የሚሻገረው ውሃው ሰፍቶ በሚያንስበት፣ ድንጋዩ በሚበዛበት ቦታ ነው። ሁለቱም ዳር ላይ ጎድጎድ ብሎ የወረደ የድሮ መንገድ ካየህ እሱ ነው። ጎርፍ የወሰደውን ከባድ ዕቃ ደግሞ ውሃው በሚዝልበት፣ በወንዙ መታጠፊያ የውስጥ ዳርና ከትልልቅ ድንጋዮች ጀርባ ይጥለዋል። ክረምት ካለፈ በኋላ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ዳሩ አዲስ ሲናድ ሂድ። ከገበያ ደግሞ አልዩ አምባን እይ። ከአንኮበር ሥር ያለች፣ በ19ኛው መቶ ዘመን ወደ ሐረርና ወደ ታጁራ የሚሄደው ነጋዴ ሁሉ የሚያልፍባት የዓርብ ገበያ ነበረች። የድሮው ሜዳ የት እንደነበር፣ ግመል የት እንደሚራገፍ አያቶች የነገሯቸው ሰዎች አሁንም አሉ።

ስለ ማሽኑ አጭር ነገር። የደጋችን ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ስለሆነ ብረታማ ነው፣ ባዶ መሬት ላይ ይጮህብሃል። ግራውንድ ባላንሱን፣ ማለትም የመሬቱን ብረታማነት ችላ እንዲል የሚያደርገውን ማስተካከያ፣ በየቦታው አስተካክል። ሳንቲም የሚያህል ዕቃ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ ብዙ ጊዜ አይሰማህም። ቆርኪ ደግሞ እንደ ሳንቲም ይጮሃል። ግቢህ ውስጥ አንድ ሳምንት ተለማመድ፤ የጎረቤት ቀለበት ወይ በእርሻ የጠፋ ማረሻ ፈልግላቸው።

አሁን የምጽፈውን እባክህ በደንብ አንብብልኝ። ማሽኑ የልጓም ብረትንና ቦምብን አይለይም። ከ1928 እስከ 1933 አርበኛና ጣሊያን የተዋጉባት አገር ናት፣ በ2014ም ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና አካባቢ ውጊያ ነበር። ክብ ወይም ረዘም ያለ ወፍራም ብረት ካየህ አትቆፍር፣ አታንቀሳቅስ፣ ፎቶ ልነሳ ብለህም አትጠጋ። በመጣህበት ዱካ ተመለስ፣ ቦታውን ከሩቅ ምልክት አድርግና ለፖሊስ ተናገር። ውጊያ የነበረበት ቦታ እንደሆነ ሰው ከነገረህ ደግሞ ከመጀመሪያው ቅር።

የመጀመሪያ ቀንህን ማሽኑን ቤት ትተህ ደብተር ብቻ ይዘህ ውጣ። በሬሳ ዳር የሚያርሱትን አባቶች «ድልድይ ሳይኖር በየት ነበር የምትሻገሩት?» በላቸው። ቁጭ ብለህ ካዳመጥህ የድሮ ወፍጮውንም ባለቤቱንም ይነግሩሃል፣ አንተም ያንን ደብተር ይዘህ ነው ባህልና ቱሪዝም የምትገባው።